ከክበቡ በር የተመለሰው ብስክሌተኛ፦ የሜጀር ቴይለር የሕይወት ታሪክ

በዛሬው የሕይወት ታሪክ ዓምዳችን የምናቀርብላችሁ ሰው ካረፈ ዘጠና ዓመት አልፎታል። በዘመኑ ግን በብስክሌት ላይ ከሱ የሚፈጥን ሰው አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ስሙ ማርሻል ዎልተር ቴይለር ነው፤ ሕዝቡ የሚያውቀው ግን ሜጀር ቴይለር በሚለው ቅጽል ስሙ ነው። በጽሑፋችን ውስጥ የሚገኙት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናሳስባለን።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ስለ ብስክሌት ራሱ ጥቂት እንበል። በመንገድ ላይ ብስክሌት ለሚነዳ ሰው ትልቁ ጠላት ዳገት ይመስለን ይሆናል። ዳገትስ ያልቃል፤ የማያልቀው ጠላት አየር ነው። ፍጥነት በጨመረ ቁጥር አየሩ እየጠነከረ ይገፋል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የአየሩ ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የብስክሌት ክበብ አባላት ለሽርሽርም ሆነ ለልምምድ ሲወጡ ጎማ ለጎማ ተጠጋግተው ነው የሚጓዙት። ከፊት ያለው ነፋሱን ይሰነጥቃል፤ ከኋላው የተጠጋው ደግሞ ድካሙ በሲሶ ያህል ይቀልለታል። የፊተኛው ሲደክመው ወደ ጎን ፈቀቅ ይልና ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ተከታዩ ተራውን ይረከባል። ጉድጓድ ካለ የፊተኛው በእጁ ያመለክታል። ጎማው የተነፈሰበት ሰው ካለ ሌሎቹ ይቆሙለታል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለው ተረት እኮ ለነዚህ ሰዎች የተተረተ ነው የሚመስለው።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። ከዚህ ሰልፍ እንዳይገባ የተከለከለ ሰው ምን ይሆናል? ነፋሱን ለብቻው ይሸከማል ማለት ነው። የሜጀር ቴይለር ታሪክም ባጭሩ ይኸው ነው።

ቴይለር የተወለደው በኖቬምበር 26 ቀን 1878 በአሜሪካ አገር፣ በኢንዲያናፖሊስ ከተማ ነው። ወላጆቹ ኬንታኪ ከሚባለው ክፍለ ሀገር የመጡ ጥቁር አሜሪካውያን ሲሆኑ፣ ዘመዶቻቸው ባርነትን የቀመሱ ነበሩ። አባቱ ጊልበርት በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ከሰሜኑ ጦር ጋር ተሰልፎ የተዋጋ ሰው ነው። ከጦርነቱ በኋላ ሳውዛርድ በሚባል የሀብታም ነጭ ቤተሰብ ቤት በሰረገላ ነጂነት ተቀጠረ።

በዚያ ቤት ዳንኤል የሚባል የማርሻል እኩያ ነበር። ሁለቱ ልጆች በጣም ስለተዋደዱ ማርሻል እዚያው ከዳንኤል ጋር መኖር ጀመረ። አንድ ዓይነት ልብስ ይለብሳሉ፤ ከአንድ አስተማሪ ሥር ቁጭ ብለው ይማራሉ፤ ለዳንኤልና ለጓደኞቹ ብስክሌት ሲገዛ ለማርሻልም ተገዛለት። ማርሻል በጨዋታውም በሩጫውም ከማንም አያንስም ነበር። ታዲያ ልጆቹ ለስፖርት ወደ ከተማው ወ.ወ.ክ.ማ. ሲሄዱ ሁሉም ሲገቡ እሱ በቆዳው ቀለም ምክንያት ከበር ተመለሰ። ጓደኞቹ በውስጥ ሲጫወቱ እሱ ከላይ ሆኖ ከመመልከት በቀር ምንም ማድረግ አልቻለም። የመጀመሪያው የተዘጋ በር ይህ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ የዳንኤል ቤተሰብ ወደ ሺካጎ ሲዛወር ማርሻል ወደ ወላጆቹ ቤት ተመለሰ። ብስክሌቷ ግን አብራው ነበረች። በሷ ጋዜጣ እያዞረ ቤተሰቡን መርዳት ያዘ። በትርፍ ጊዜውም ልዩ ልዩ የብስክሌት ትርዒት ራሱን አስተማረ። አንድ ቀን ብስክሌቱን ለማስጠገን ወደ አንድ የብስክሌት ሱቅ ጎራ ብሎ ሲወጣ ዝም ብሎ አልተነሳም፤ ከትርዒቱ አንዱን አሳይቶ ብስክሌቱ ላይ ወጣ። ባለሱቁ በነገሩ ተደንቆ በሳምንት 6 ዶላር ቀጠረው። ጠዋት ሱቁን ይጠርጋል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የሚያብረቀርቅ ቁልፍ ያለው የወታደር ልብስ ለብሶ ከሱቁ ፊት ለፊት ትርዒት ያሳያል። ሻለቃ ለማለት ሜጀር የሚል ስም የወጣለትም በዚሁ ልብስ ምክንያት ነው።

ባለሱቁ በየዓመቱ የ10 ማይል፣ ማለትም የ16 ኪሎ ሜትር ያህል የመንገድ ውድድር ያዘጋጅ ነበር። አንድ ዓመት ለሳቅ ብሎ ልጁን ከአዋቂዎቹ መሐል አሰለፈው። ልጁ ግን የሳቁን ነገር ወደ ቁም ነገር ለወጠው፤ ሁሉንም ቀድሞ ገባ፤ ከድካም ብዛትም ከመጨረሻው መሥመር ላይ ወደቀ። የወርቅ ሜዳሊያውን ይዞ ወደ እናቱ ሮጠ።

በዚያን ዘመን አሜሪካ በብስክሌት አብዳ ነበር። በየከተማው የብስክሌት ክበብ አለ፤ የክበቦቹ ሁሉ ታላቅ ወንድም ደግሞ በ1880 የተቋቋመው የአሜሪካ ብስክሌተኞች ሊግ ነበር። ሊጉ ጥሩ ሥራ አልሠራም አይባልም፤ የአሜሪካ መንገዶች እንዲሻሻሉ ብዙ ደክሟል። ነገር ግን በፌብሩዋሪ 1894 በኬንታኪ፣ በሉዊስቪል ከተማ ባደረገው ስብሰባ፣ ከነጮች በቀር ማንም አባል እንዳይሆን በ127 ድምፅ በ54 ተቃውሞ ወሰነ። ልብ በሉ፤ የቴይለር ወላጆች ትተውት ከመጡት ክፍለ ሀገር የመጣ ውሳኔ ነው። ልጁ ያን ጊዜ 15 ዓመቱ ነበር።

ጥቁር ብስክሌተኞች ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ የራሳቸውን ክበብ አቋቋሙ። ቴይለርም በኢንዲያናፖሊስ ሲሶው የሚባለው የጥቁሮች ክበብ አባል ሆነ። በ1895 በጋ ላይ ከኢንዲያናፖሊስ ወደ ማቲውስ የ75 ማይል፣ ማለትም የ120 ኪሎ ሜትር የመንገድ ውድድር ተዘጋጀ። የቴይለር መግባት ለሌሎቹ ሳይነገር በምስጢር ተያዘ። ሌሎቹ ከተነሱ በኋላ እሱ ከተደበቀበት ወጥቶ ከኋላ ተከተላቸው። ሲያዩት ስድብና ዛቻ አወረዱበት። ከሰልፉ መጠጋት አደገኛ መሆኑን ሲረዳ ምን አደረገ መሰላችሁ? ጥሏቸው ሄደ! ዝናብ ወረደ፣ መንገዱ ጨቀየ፣ ሌሎቹ አንድ በአንድ አቋረጡ። መጨረሻው ላይ የደረሰው የ16 ዓመቱ ቴይለር ብቻ ነበር። ነፋሱን የሚከፍልለት አንድም ሰው ሳይኖር ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ልጅ መምህር ያስፈልገዋል፤ እሱም ተገኘ። ሉዊስ መንገር የሚባል የቀድሞ እሽቅድምድመኛና የብስክሌት ሠሪ ቴይለርን በቤቱ አሠርቶ፣ የውድድርን ጥበብ አስተምሮታል። መንገር ነጭ ነበር፤ ጥቁር ልጅ ማቅረቡን የሚያውቃቸው ሰዎች አልወደዱለትም። እሱ ግን ልጁን አልተወም። በ1895 ፋብሪካውን ለማቋቋም በማሳቹሴትስ ወደምትገኘው ዉስተር ከተማ ሲሄድ ቴይለርን ይዞት ሄደ። ዉስተር የኮረብታ ከተማ ናት። በኢንዲያናፖሊስ የተዘጋበት የወ.ወ.ክ.ማ. በር እዚህ ተከፈተለት፤ አልቢዮን በሚባለው የጥቁሮች የብስክሌት ክበብም አባል ሆነ። ጆርጅ ስትሪት የምትባል አጭር ግን ክፉ ዳገት ነበረች፤ ርዝመቷ 150 ሜትር ያህል ነው፤ በየመቶ ሜትሩ 18 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። ቴይለር ጉልበቱን ያጠነከረው በሷ ላይ እየወጣ ነው።

በ1896 መጨረሻ በኒው ዮርክ በታወቀው ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን በተደረገው የስድስት ቀን ውድድር የሙያተኛነት ሕይወቱን ጀመረ። በ142 ሰዓት ውስጥ 1,732 ማይል፣ ይኸውም ወደ 2,787 ኪሎ ሜትር ነድቶ 8ኛ ወጣ። የ18 ዓመት ልጅ ነበር።

ከዚያ በኋላ ድልና በደል እጅ ለእጅ ተያይዘው መጡ። በ1897 ለአሜሪካ ሻምፒዮናነት ነጥብ ሲሰበስብ፣ የደቡብ ክፍለ ሀገሮች የውድድር አዘጋጆች አናስገባውም በማለታቸው ዕድሉ አመለጠው። በዚያው ዓመት በቶንተን ከተማ ውድድሩ ካለቀ በኋላ አንድ ተወዳዳሪ ከብስክሌቱ ጎትቶ ጥሎት ራሱን እስኪስት ድረስ አንገቱን አነቀው። ቅጣቱ 50 ዶላር ብቻ ሆነ። በውድድር ሜዳም ቢሆን ተወዳዳሪዎቹ እርስ በርሳቸው እየተመካከሩ ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ ይከቡታል፤ መውጫ ያሳጡታል። እንግዲህ አስቡት፤ ነፋስ ለመከፋፈል የተፈጠረው ዘዴ አንድን ሰው ለማሰር ዋለ ማለት ነው! ስለዚህ ቴይለር ብዙ ጊዜ ሳይከበብ በፊት ፈትልኮ ከፊት መሆንን ተማረ። ከፊት ያለ ሰው ደግሞ ነፋሱን ለብቻው እንደሚቀበል ቀደም ብለን ተናግረናል።

ይህን ሁሉ ችሎ በኦገስት 1899 በካናዳ፣ በሞንትሪያል ከተማ የአንድ ማይል የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ከቡጢኛው ከጆርጅ ዲክሰን ቀጥሎ በማንኛውም ስፖርት የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ሁለተኛው ጥቁር ሰው እሱ ነው። በዚያው ዓመት በኅዳር አካባቢ በሺካጎ፣ በእንፋሎት የሚሠራ ሞተር ከፊቱ ነፋሱን እየከፈለለት አንድ ማይልን በ1 ደቂቃ ከ19 ሴኮንድ ጨረሰ፤ በሰዓት 73 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ነፋሱን የሚከፍልለት ባገኘ ጊዜ የደረሰበትን ፍጥነት እዩልን!

በ1900 የአሜሪካ ሻምፒዮን ሆኖ ሳለ በዉስተር ቤት ቢገዛ ጎረቤቶቹ ቤቱን መልሰው ሊገዙትና ሊያስወጡት ሞከሩ። እሱ ግን አልወጣም። በ1901 ወደ አውሮፓ ተሻግሮ በፓሪስ የፈረንሳዩን ሻምፒዮን ኤድሞን ዣክሌንን ገጠመ፤ በመጀመሪያው ግጥሚያ ተሸነፈ፤ በሁለተኛው አሸነፈው። ሃይማኖተኛ ስለነበረ ለብዙ ዓመታት እሑድ ቀን አልወዳደርም ብሎ ብዙ ገንዘብ ትቷል። ወደ አውስትራሊያም ሄዶ ተወዳድሯል፤ በ1904 ሴት ልጁ በሲድኒ ከተማ ብትወለድለት ሲድኒ ብሎ ሰየማት።

በ1910 ከውድድር ወጣ። ያፈራው ሀብት ግን አልቆየም፤ የጀመራቸው የንግድ ሥራዎች ከሰሩ፤ ጤናውም ታወከ፤ ትዳሩም ፈረሰ። በ1928 የሕይወት ታሪኩን በራሱ እጅ ጽፎ አሳተመ። በመጽሐፉ የደረሰበትን ሁሉ ሳይደብቅ ቢተርክም ቂም አልያዘም። መጽሐፉን በየሰው ቤት እየዞረ ይሸጥ ነበር። በጁን 21 ቀን 1932 በሺካጎ፣ በድሆች መታከሚያ ክፍል ውስጥ በ53 ዓመቱ አረፈ። በምስኪኖች መቃብር ምልክት እንኳ ሳይደረግለት ተቀበረ። በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ያጨበጨበለት ሰው መጨረሻው ይህ ሆነ፤ ያሳዝናል።

ይሁን እንጂ ታሪኩ በዚህ አላበቃም። በ1948 የቀድሞ እሽቅድምድመኞች ማኅበር ተነሳሥቶ፣ የብስክሌት ፋብሪካ ባለቤት የነበረው ፍራንክ ሽዊን ገንዘቡን ሰጥቶ፣ አፅሙ ክብር ወዳለው ሥፍራ ተዛወረ፤ የነሐስ ጽሑፍም ተደረገለት። በ1982 ኢንዲያናፖሊስ፣ ያቺው በሩን የዘጋችበት ከተማ፣ የብስክሌት ሜዳዋን በስሙ ሰየመች። የ1894ቱን ክልከላ ሊጉ በይፋ የሰረዘው በ1999 ነው። ከ105 ዓመት በኋላ!

ከዚህ ሁሉ የበለጠው መታሰቢያ ግን በመንገድ ላይ የሚታየው ነው። በ1979 በኦሃዮ፣ በኮሎምበስ ከተማ በሜጀር ቴይለር ስም የብስክሌት ክበብ ተመሠረተ። ከዚያ ወዲህ በብዙ የአሜሪካ ከተሞች በስሙ የሚጠሩ ክበቦች ተቋቁመዋል። አባሎቻቸው ሙያተኞች አይደሉም፤ ሥራ ውለው የሚመጡ፣ ለጤናና ለወዳጅነት የሚነዱ ሰዎች ናቸው። ተራ እየተቀባበሉ ነፋሱን ይካፈላሉ፤ አዲስ መጪውን ያለማምዳሉ። በዉስተርም የከተማው ብስክሌተኞች ክበብ በዚያችው በጆርጅ ስትሪት ዳገት ላይ ለመታሰቢያው የዳገት ውድድር ሲያዘጋጅ ቆይቷል። ከሰልፍ የተባረረው ሰው ዛሬ የሰልፍ ስም ሆነ ማለት ነው።

እኛ ዕጩ መምህራን ከዚህ ምን እንማራለን? ነገ የምንደርስበት ትምህርት ቤት ሁሉ የራሱ ሰልፍ አለው። ኳስ ሲከፋፈል ማንም የማይመርጠው ልጅ አለ። ከሩቅ ቀበሌ መጥቶ ለብቻው የሚቀመጥ አለ። በአካሉ ጉዳት ምክንያት ከሜዳ ዳር የሚቆም አለ። የነሱን በር የሚዘጋ የ127 ሰው ድምፅ አያስፈልግም፤ የአንድ መምህር ዝምታ ይበቃል። የሚከፍተውም ያው አንድ መምህር ነው፤ መንገር እንዳደረገው። ቴይለር ብርቱ ስለነበረ ነፋሱን ለብቻው ሰነጠቀ። ልጆች ሁሉ ግን ቴይለር አይደሉም፤ መሆንም የለባቸውም። የእኛ ድርሻ ከፊት ሆኖ ነፋሱን መቀበል፣ ቀጥሎም ተራውን ለእነሱ መልቀቅ ይመስለናል። እናንተስ ምን ትላላችሁ? በጉዳዩ ላይ የምትጽፉትን በደስታ እንለጥፋለን።

ቸር ይግጠመን።