ሬስሊንግ እውነት በነበረበት ዘመን

መካኒሳ ውስጥ ጂም የሚሠራ ሰው ሃክ ስኳት የሚባለውን መሣሪያ ያውቀዋል። ጀርባን አስደግፎ፣ ትከሻን ከመደገፊያው ሥር አስገብቶ፣ ክብደቱን በጭን ጉልበት ሽቅብ መግፋት ነው። እኔ በምሠራበት ጂም ልጆቹ ሃክ እያሉ በአጭሩ ይጠሩታል። ቃሉ የአንድ ሰው ስም ቁራጭ መሆኑ ይነገራል፤ የጆርጅ ሃከንሽሚት። ይህ ሰው፣ ዛሬ ልጆቻችን ሬስሊንግ ብለው በሚጠሩት የነፃ ትግል ዓለም፣ የመጀመሪያው የዓለም ከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ተብሎ የሚታወቀው ነው።

ሬስሊንግ እውነት ነው ወይስ ውሸት የሚለው ክርክር በኛ ሰፈር ከቪዲዮ ቤቶች ዘመን ጀምሮ ያለ ነው። አንደኛው ወገን ደሙን አላየህም ወይ ይላል። ሌላኛው ወገን አሸናፊው ቀድሞ ተነግሮታል ብሎ ያበሽቀዋል። ሁለተኛው ወገን ትክክል ለመሆኑ ማስረጃ አለ። የአሜሪካው ትልቁ የሬስሊንግ ድርጅት በ1989 ለኒው ጀርሲ ግዛት ሕግ አውጪዎች ሥራው መዝናኛ እንጂ ውድድር አለመሆኑን ራሱ አስረድቷል። ያደረገውም ለእውነት ተጨንቆ ሳይሆን እንደ ቦክስ ካሉ ስፖርቶች ጋር ተቆጥሮ በስፖርት ባለሥልጣናት ቁጥጥር ሥር መሆኑ ስለከበደው ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታዲያ አሸናፊው ቀድሞ የሚታወቅ ከሆነ ቀበቶው ምንድን ነው? በ2019 ጋና የተወለደው ኮፊ ኪንግስተን ከ11 ዓመት ጥበቃ በኋላ ዋናውን ቀበቶ ሲያገኝ፣ ውጤቱ ተጽፎ የተሰጠ መሆኑን አሳምሮ የሚያውቅ ተመልካች ለምን አለቀሰ? ስለዚህ ጉዳይ ሳስብ ሁልጊዜ የምመለሰው ወደ ሃከንሽሚት ሕይወት ነው።

ሃከንሽሚት በ1877 ዶርፓት በምትባል ከተማ ተወለደ። ዶርፓት ዛሬ ታርቱ የምትባለዋ የኢስቶኒያ ከተማ ስትሆን፣ ያኔ በሩሲያ ዛር ግዛት ሥር ነበረች። አባቱ የጨርቅ ማቅለሚያ ቤት ነበረው። ልጁ ትምህርቱን ሲጨርስ ወደ ሬቫል፣ ወደ ዛሬዋ ታሊን፣ ሄዶ በአንድ ፋብሪካ የምሕንድስና ተለማማጅ ሆነ። ቀን ብረት ሲቀጠቅጥ ይውልና ማታ የከተማይቱ የአትሌቲክስና የብስክሌት ክለብ ውስጥ ብረት ያነሳል። በ1896፣ እኛ አድዋ ላይ በዘመትንበት ዓመት፣ ጌኦርግ ሉሪክ የሚባል የአገሩ ልጅ የሆነ ስመ ጥር ተፋላሚ ወደ ሬቫል መጣና ጎበዝ ካለ ይግጠመኝ አለ። ሃከንሽሚት ገጥሞት ወደቀ። (ታጋይ የሚለው ቃል በኛ ዘንድ ሌላ ትርጉም ስለያዘ ተፋላሚ ማለቱን መርጫለሁ።)

ዕጣውን የለወጠው ሽንፈቱ ሳይሆን ጉዳቱ ነው። በ1898 በሥራ ላይ ሳለ እጁን ተጎዳና ሐኪም ዘንድ ሄደ። በዚያው አጋጣሚ ከዛሩ ሐኪሞች አንዱ ከሆነው ከዶክተር ክራየቭስኪ ጋር ተገናኘ። ዶክተሩ ራሱ የብረት ማንሳትና የትግል ፍቅር የያዘው ሰው ነበር። የወጣቱን ሰውነት አይቶ ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ወሰደውና በገዛ ቤቱ እያኖረ አሠለጠነው። በዚያ ወራት በቀን ከ6 ሊትር በላይ ወተት ይጠጣ እንደነበር ሃከንሽሚት ጽፏል። ይህን ያነበበ የመካኒሳ ጂም ሠሪ በመጀመሪያ የሚያስበው ስለ ጡንቻ ሳይሆን ስለ ወተት ዋጋ መሆኑን አልጠራጠርም።

ከዚያ በኋላ ያለው ፈጣን ነው። በዚያው በ1898 ቪየና ላይ በግሪኮ ሮማን ትግል የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆነ። በዛሩ የክብር ዘበኛ ክፍለ ጦር ውስጥ ለአጭር ጊዜ አገለገለ። በ1899 ወለል ላይ በጀርባው ተኝቶ 164 ኪሎ ግራም ገደማ ገፍቶ ያነሳበት ክብረ ወሰን ለዓመታት ሳይደፈር ቆየ።

በ1902 ለንደን ገባ፤ እዚያም ቻርልስ ኮክራን የሚባል የቴአትር ሰው ሥራ አስኪያጁ ሆነ። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ሃከንሽሚት ተጋጣሚዎቹን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እየጣለ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። ተመልካቹ ግን የከፈለው ለአንድ ምሽት ነው። ኮክራን ይህን አይቶ፣ ደካማውን ተጋጣሚ ወዲያው አትጣለው፣ ትንሽ አቆየው፣ ሰውነትህን አሳይ ብሎ መከረው፤ እሱም ተማረ። ስለዚህ ያ ዘመን ንጹሕ፣ የኛ ዘመን ርኩስ ነው ብሎ መከራከር አያዋጣም። ማስመሰሉ ገና ከመነሻው በበሩ ገብቶ ጥግ ይዞ ተቀምጧል። የታሪክ ጸሐፊዎችም የዚያ ዘመን ግጥሚያ ሁሉ ያልተነካካ ነበር አይሉም። ልዩነቱ፣ ዋናው ግጥሚያ ሲመጣ ማን እንደሚወድቅ ገና ያልተወሰነ መሆኑ ነው።

እንዲህ ካሉት ግጥሚያዎች አንዱ በጥር 1904 ለንደን በሚገኘው ኦሊምፒያ አዳራሽ ከቱርኩ አህመድ ማድራሊ ጋር ያደረገው ነው። የከተማይቱ መንገዶች በሠረገላ ተጨናንቀው ነበር። ሃከንሽሚት ግዙፉን ሰው ወገቡን ይዞ አነሳውና መሬት ላይ ጣለው፤ የማድራሊ ክንድ ከመጋጠሚያው ወለቀ። አንድ ደቂቃ እንኳ አልሞላም። በሩቅ መጥቶ፣ ውድ ትኬት ገዝቶ፣ ኮቱን ሳያወልቅ ትዕይንቱ ያለቀበት ስንቱ ይሆን?

ከዚያ አሜሪካ ሄደ። ግንቦት 4 ቀን 1905 በኒው ዮርኩ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ከአሜሪካው ሻምፒዮን ከቶም ጄንኪንስ ጋር ገጠመ። ስልቱ ግሪኮ ሮማን አልነበረም። ግሪኮ ሮማን ከወገብ በታች መያዝን ይከለክላል፤ በዚያ ቀን የተገጠመው ግን እግርም ጭንም መያዝ የሚፈቀድበት፣ በኛ ገጠር እረኞች ከሚገጥሙት ትግል ጋር የሚቀራረብ ስልት ነበር። ሃከንሽሚት ሁለቱንም ዙር አሸንፎ የዓለም ከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ተባለ። ፕሬዝዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ፕሬዝዳንት ባይሆኑ ኖሮ ሃከንሽሚትን መሆን ይመኙ እንደነበር እስከ ዛሬ ይወራል። ዛሬ በየድርጅቱ የምናያቸው የዓለም ከባድ ሚዛን ቀበቶዎች የዘር ሐረጋቸውን ሲቆጥሩ የሚደርሱት እዚህች ቀን ላይ ነው።

እኔ ግን ማዕረጉ እውነተኛ ክብደት ያገኘው ያን ቀን ነው ብዬ አላምንም። ክብደቱን ያገኘው ከ3 ዓመት በኋላ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1908 ቺካጎ ውስጥ፣ ሲጠፋ ነው።

ተጋጣሚው ፍራንክ ጎች የአዮዋ ገበሬ ልጅ ነበር። ሃከንሽሚት ንቆት በቂ ዝግጅት ሳያደርግ እንደመጣ የሚናገሩ ብዙ ናቸው። ሁለቱ ሰዎች ለሁለት ሰዓት ያህል ቆመው ተያያዙ። ጎች ሰውነቱን ዘይት ተቀብቷል፣ ጥፍሩንና አውራ ጣቱን ዓይን ውስጥ ይከታል የሚል ክስ ከሃከንሽሚት ወገን ተሰማ። ሃከንሽሚት እኩል እንለያይ ብሎ ጠየቀ፤ ጎች እምቢ አለ። በመጨረሻ ጎች ከኋላው ገብቶ እግሩን ለመያዝ ሲታገል ሃከንሽሚት በቃኝ አለ። ለሁለተኛው ዙርም አልወጣም፤ ማዕረጉን በገዛ አንደበቱ አስረከበ።

የሚገርመው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ግጥሚያው እንዳበቃ ጎችን አመስግኖ የበላይነቱን መሰከረ። ወደ አውሮፓ ተመልሶ ነገሩን ሲያሰላስለው ግን ምስክርነቱን አነሳ፤ ስለ ዘይቱና ስለ ጥፍሩ በይፋ ይናገር ጀመር። ለሰውየው ያለኝ አክብሮት የማይቀንሰው ለዚህ ነው። አንድም ቀን የማያማርር ጀግና በተጻፈለት ድርሰት ውስጥ ብቻ ይገኛል። ቂም የያዘው፣ አሳቡን የለዋወጠው፣ እንቅልፍ ያጣው ሃከንሽሚት ግን በእርግጥ የተሸነፈ ሰው መሆኑ ከዚሁ ይታወቃል።

መልሱ ግጥሚያ መስከረም 4 ቀን 1911 ቺካጎ ኮሚስኪ ፓርክ ላይ ሆነ። ወደ 30 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ገባ። ሃከንሽሚት በልምምድ ላይ ጉልበቱ ተጎድቶ ነበር። ጉልበቱን የሰበረው አብሮት የሚለማመደው ሰው ነው፣ ያንንም ያደረገው ከጎች ወገን ገንዘብ ተቀብሎ ነው የሚል ወሬ ከዓመታት በኋላ ተነስቷል፤ የማይቀበሉትም አሉ። የተረጋገጠው ነገር፣ ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ሁለቱንም ዙር ተሸንፎ መውጣቱ ነው። ከግጥሚያው በፊት ፖሊስ ውርርዱን ሁሉ እንዳገደም ይነገራል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የስፖርት ውርርድ ቤቶች በየሰፈሩ ሲከፈቱ ላየን ለኛ ይህ እንግዳ አይሆንም። ገንዘብ የተያዘበት ግጥሚያ ላይ ጥርጣሬ አንዴ ከገባ ውጤቱ ቢያምርም የሚያምነው አይገኝም። የአሜሪካ ሕዝብም ከዚያ ቀን በኋላ በነፃ ትግል ላይ የነበረው እምነት ላላ።

ሃከንሽሚት ከመድረክ ወረደ። ጎች በ1913 ሳይሸነፍ ጡረታ ወጥቶ በ1917 በ40 ዓመቱ በሕመም ሞተ። ማዕረጉ ግን ከሁለቱ ተለይቶ የራሱን ጉዞ ቀጠለ። በ1920ዎቹ ኤድ ሉዊስ የተባለው ሻምፒዮን ከሁለት ሸሪኮቹ ጋር ሆኖ ግጥሚያውን ወደ ትዕይንት ለወጠው፤ ጊዜው አጠረ፣ ውጤቱ አስቀድሞ ይወሰን ጀመር። በ1925 ትግል እምብዛም የማያውቅ ዌይን መን የሚባል የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋች፣ ስሙ ሕዝብ ይስባል ተብሎ፣ ሻምፒዮን ተደረገ። ከሦስት ወር በኋላ ስታኒስላውስ ዝቢሽኮ የሚባል ጎምቱ ፖላንዳዊ፣ እንዲወድቅ ተነግሮት መድረክ ላይ ወጣና አልወድቅም አለ። መንን ደጋግሞ በጀርባው አንጋለለው፤ ዳኛውም የሚያደርገው አጥቶ ማዕረጉን ሰጠው። ድርሰቱ መሐል እውነተኛ ትግል ገብቶ አረፈ። ይህን ታሪክ ለልጆች ስነግራቸው ከየትኛውም የቴሌቪዥን ትዕይንት ይልቅ ያስደስታቸዋል።

በዚያው ዘመን የኛም አገር ስም ወደዚህ ቴአትር ገብቶ ነበር። ሬጂናልድ ሲኪ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ተፋላሚ ከአቢሲኒያ የመጣ ተብሎ ይታወጅ ነበር። ሰውየው የአሜሪካ ተወላጅ ነው። ለጥቁር ተፋላሚ የዓለሙ ማዕረግ በር ዝግ በነበረበት ጊዜ፣ በቅኝ ያልተገዛች የጥቁር አገር ስም መልበሱ ቢያንስ ትኬት ይሸጥ ነበር። ለኛ ደስ የሚልም የሚያሳዝንም ነገር ነው። ኢትዮጵያ እዚያ መድረክ ላይ የወጣችው እንደ አገር ሳይሆን እንደ ካባ ነው። ኮፊ ኪንግስተን በ2019 ሲያሸንፍ ውጤቱ የተጻፈ ቢሆንም እንባው የተጻፈ አልነበረም የምለው ለዚህ ነው። ያ ቀበቶ እንደ ሲኪ ያሉ ሰዎች እንዳይነኩት የተደረገ ማዕረግ ታሪክ አለበት፤ ታሪኩ ደግሞ ድርሰት አይደለም።

ሃከንሽሚት ከመጨረሻው ሽንፈቱ በኋላ 56 ዓመት ኖረ። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ይህ ረጅሙ ክፍል ነው። ሌላው ሰው አሠልጣኝ ወይም የመጠጥ ቤት ባለቤት በሚሆንበት ዕድሜ እሱ ፈላስፋ ለመሆን ተነሳ። ስለ አካል ማጎልመሻ በ1908 ያሳተመው መጽሐፍ በብዛት ተነቦለታል። በ1930ዎቹ ስለ አእምሮ፣ ስለ መንፈስና ስለ ሰው ተፈጥሮ ያሳተማቸውን ግን ያነበባቸው ጥቂት ሰው ነው። እኔም ከጥቂት ገጽ በላይ መዝለቅ አልሆነልኝም። ዓረፍተ ነገሮቹ እንደ ሁለት ሰዓቱ የቺካጎ ትግል ናቸው፤ ሳይጥሉም ሳይወድቁም ይቆያሉ። ሆኖም ጉልበቱን አምኖ ያደገ ሰው ጉልበት ምንድን ነው ብሎ እስከ እርጅናው መጠየቁ ያስደንቀኛል። በ1939 የፈረንሳይ፣ በ1950 የእንግሊዝ ዜግነት አግኝቶ ከባለቤቱ ከራሼል ጋር በደቡብ ለንደን በጸጥታ ይኖር ነበር።

የካቲት 19 ቀን 1968 በ90 ዓመቱ አረፈ። በዚያ ጊዜ የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሬስሊንግ ያሳይ ነበር። በ2016 ትልቁ የአሜሪካ ድርጅት ሃከንሽሚትን በክብር መዝገቡ ውስጥ ሲያስገባ ፍራንክ ጎችንም አብሮ አስገባው፤ ሁለቱም በአንድ ምሽት፣ በአንድ ዝርዝር ውስጥ። ስለ ዘይቱ የተነሳ ነገር አልነበረም።