ሙሴ አልፍሬድ ኢልግና የአዲስ አበባ የመጀመሪያው የቧንቧ ውሃ

ባለፈው ዘመን ሙያቸውን ለኢትዮጵያ ካበረከቱት የውጭ አገር ሰዎች መካከል ስማቸው አብዝቶ የሚነሣው ስዊሳዊው መሐንዲስ ሙሴ አልፍሬድ ኢልግ ናቸው። ብዙ ሰው የሚያውቃቸው በምድር ባቡሩ ሥራ ነው። የምድር ባቡሩ ግን የብዙ ሰው፥ የብዙ ገንዘብና የብዙ ክርክር ውጤት ነበረ። በእሳቸው እጅ ተጀምረው በእሳቸው እጅ ከተፈጸሙት ሥራዎች ሁሉ ይልቅ የአዲስ አበባን ሕዝብ ያስደነቀው ውሃን በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ማውጣታቸው ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ሕይወታቸውን የምንተርከው በተለይ ከዚህ ሥራ አንጻር ይሆናል።

ሙሴ ኢልግ በስዊስ አገር በቱርጋው አውራጃ፥ ፍራውንፌልድ በምትባል ከተማ፥ በ1846 ዓ.ም. (እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1854) ተወለዱ። ከፍተኛውን ትምህርት የተማሩት በዙሪክ ከተማ በሚገኘው የታወቀው የመሐንዲሶች ትምህርት ቤት ነው። ትምህርታቸውን ፈጽመው ገና ወጣት ሳሉ፥ በዚያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ አንድ የእጅ ሥራ ዐዋቂ መሐንዲስ ከአውሮጳ እንዲፈለግላቸው አሳሰቡ። መልእክቱ የተላለፈው በዓደን ከተማ ይነግድ በነበረው ፉረርና ኤሸር በሚባል የስዊስ የንግድ ቤት አማካይነት ነው። ሙሴ ኢልግም ጥሪውን ተቀብለው ሲመርማንና አፐንጸለር ከሚባሉ ሁለት የአገራቸው የእጅ ሥራ ሰዎች ጋር በ1870 ዓ.ም. ከአገራቸው ተነሡ።

በዚያ ዘመን ወደ ሸዋ ለሚመጣ አውሮጳዊ የመንገዱ በር ዓደን ነበረች። ስለዚህች ከተማ ጥቂት ቃል መናገር የሚገባው፥ የውሃን ነገር በብርቱ የምታስተምር ከተማ በመሆኗ ነው። ዓደን በጠፋ እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተቀመጠች፥ ወንዝም ምንጭም የሌላት፥ ዝናብም አልፎ አልፎ ብቻ የሚጎበኛት የወደብ ከተማ ናት። ከዓመታት አንድ ጊዜ ዝናቡ ሲመጣ ግን ከተራራው ጎርፍ ሆኖ ይወርዳል። የጥንት ሰዎች ይህን ጎርፍ ለመያዝ በሸለቆው ውስጥ አንዱ ሲሞላ ወደ ታችኛው የሚያፈስ ተከታታይ የውሃ ማጠራቀሚያ ከዐለቱ ፈልፍለው፥ ውስጡን በኖራ ለስነው ነበር። ሥራው ግን ከብዙ ዘመን በኋላ በደለልና በድንጋይ ተደፍኖ ተረሳ። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ከ1856 ጀምሮ የእንግሊዝ ሹም የነበረው ፕሌይፌር አስቆፍሮ አስጠገነው። ሕዝቡም የሚጠጣውን የጉድጓድ ውሃ በሼክ ዑስማን በኩል በግመል እየተጫነ ይቀበል ነበር፤ ከባሕሩም በእሳት ተኖ የተጣራ ውሃ በገንዘብ ይሸጥ ነበር። ሙሴ ኢልግ ወደ ኢትዮጵያ የተሻገሩት ውሃ በሸክምና በዋጋ ከሚገኝባት ከዚህች ከተማ ነው።

ከዓደን በመርከብ ወደ ዘይላ፥ ከዘይላም በግመል የአፋርን በረሃ አቋርጠው በ1871 ዓ.ም. አንኮበር ደረሱ። ንጉሡ በመጀመሪያ ያዘዟቸው ሥራ ጫማ እንዲሰፉላቸው ነበር ይባላል። ቀጥሎም ጠመንጃ እንዲሠሩ አዘዟቸው፤ ከውጭ ተገዝቶ ቢመጣ ዋጋው እንደሚያንስ አስረድተው ሲያበቁ ትእዛዙን ፈጽመው እንዳሳዩ ይነገራል። ዲፕሎማ ይዞ የመጣ መሐንዲስ ጫማ ስፋ ቢባል ብዙዎች ተቀይመው ይመለሱ ነበር። እሳቸው ግን አማርኛ ተማሩ፤ የአገሩንም ሰው በሥራ ቤት አሠለጠኑ፤ በአዋሽ ወንዝ ላይም ድልድይ ሠሩ። ይህ ሁሉ ሲሆን ብረት፥ መሣሪያም ሆነ ምስማር የሚመጣው ከባሕር ጠረፍ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ስለ ነበረ፥ የመሐንዲሱ ዕውቀት ከሒሳቡ ይልቅ በትዕግሥቱ ይለካ ነበር ብንል ስሕተት አይሆንም።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ የውሃ ነገር አዲስ ችግር ሆነ። ቤተ መንግሥቱ የተሠራው በኮረብታ ላይ ነው፤ ወንዞቹና ምንጮቹ ደግሞ ከሥር በሸለቆው ውስጥ ናቸው። ለግብር በሚቀርበው በብዙ ሺህ ሕዝብ ልክ ጠጅ ሲጣል፥ ጠላ ሲጠመቅ፥ ወጥ ሲሠራ፥ ፈረስና በቅሎም ሲጠጣ የሚፈሰው ውሃ ሁሉ የሚወጣው በሰው ጀርባ ነበር። እንስራ ተሸክማ ዳገት የወጣች ሴት የምታውቀውን ያህል ይህን ነገር የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም። በየገዳሙ ውሃ በመቅዳት ያደግን ተማሪዎችም ድርሻችንን እናውቃለን።

ሙሴ ኢልግ የተመለከቱት ነገር ይህ ነው። ከከተማይቱ በስተ ሰሜን ያለው የእንጦጦ ተራራ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ የቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ደግሞ 2,400 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ በተራራው ጎን ያለው ምንጭ ከቤተ መንግሥቱ ይልቅ እጅግ ከፍ ያለ ነው። በመካከሉ ግን ዝቅ ያለ ሸለቆ አለ። ውሃው በቦይ ቢሄድ ኖሮ ሸለቆው ሲደርስ ወደ ወንዝ ገብቶ ይቀር ነበር። በተዘጋ የብረት ቧንቧ ውስጥ ቢሄድ ግን፥ ከኋላው ያለው ውሃ ክብደቱን እየጫነ ስለሚገፋው፥ ከመነሻው ከፍታ እስካልበለጠ ድረስ ማዶውን ዳገት ይወጣል። የውሃ ክብደት በየ10 ሜትሩ ዝቅታ በአንድ ሳንቲ ሜትር ካሬ ላይ አንድ ኪሎ ያህል ይጨምራል፤ 100 ሜትር የወረደ ቧንቧ በዚያው ስፍራ 10 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። የሥራው ጭንቀትም በዚህ ላይ ነው። መገጣጠሚያው ጥቂት የላላ እንደ ሆነ በሸለቆው ግርጌ ይፈነዳል፤ ውሃውም ሳይወጣ ይቀራል። የተሰበረ ቧንቧ ደግሞ ከገበያ የሚተካ ሳይሆን ከባሕር ማዶ ታዝዞ፥ ከጠረፍ በእንስሳት ተጭኖ፥ ወራት ቆይቶ የሚደርስ ነበር።

ውሃ ሽቅብ ይወጣል ሲባል ያልሰማ ሕዝብ ነገሩን መጠራጠሩ አያስነቅፈውም። ውሃ ቁልቁል እንጂ ወደ ላይ እንደማይሄድ ከአባቶቹ ጀምሮ በዓይኑ ያየው እውነት ነውና። ሥራው ባይሳካ ኖሮ የሚያፍሩት መሐንዲሱ ብቻ አይደሉም፤ ፈረንጅን አምነው ገንዘብና ሰው የሰጡት ዐፄ ምኒልክም ከመኳንንቱ ፊት ያፍሩ ነበር። በ1886 ዓ.ም. ገደማ ግን ውሃው ከእንጦጦ ወርዶ፥ ሸለቆውን ተሻግሮ፥ በቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ ፈሰሰ። ሕዝቡ ለማየት ጎረፈ፤ ግጥምም ተገጠመለት፤ የንጉሠ ነገሥቱን ዜና መዋዕል የጻፉት ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴም ነገሩን በታሪካቸው አስገብተውታል። የግጥሙ ምስጋና የሄደው ለንጉሠ ነገሥቱ ነው እንጂ ለመሐንዲሱ አይደለም። ይህም በዚያ ዘመን ሥርዓት የሚገባ ነው።

አንዳንድ ጸሐፊዎች ከዚህ ሥራ በፊት በኢትዮጵያ የውሃ ጥበብ ያልነበረ አስመስለው ይጽፋሉ። ይህ ትክክል አይደለም። በላሊበላ ዐለት ሲፈለፈል የዝናቡ ውሃ በቅጽሩ ውስጥ እንዳይተኛ ወለሉ ተዘንብሎ፥ የሚፈስበትም ቦይ ተበጅቶለታል፤ ይህ ባይታሰብበት ኖሮ አብያተ ክርስቲያናቱ በየክረምቱ ኩሬ በሆኑ ነበር። በጎንደርም የፋሲል መዋኛ ለጥምቀት በዓል የሚሞላው ከቀሃ ወንዝ በቦይ በተጠለፈ ውሃ ነው። በመጽሐፍ ቅዱስም ንጉሥ ሕዝቅያስ የግዮንን ምንጭ ወደ ከተማይቱ ማስገባቱን እናነባለን፤ ከዐለቱ ሥር የተቆፈረውና እስከ ሰሊሆም የሚደርሰው መንገድ ከ500 ሜትር ይረዝማል። ነገር ግን እነዚህ ሁሉ ውሃውን በፈቃዱ ቁልቁል የሚመሩ ናቸው። የሙሴ ኢልግ ሥራ በአገራችን አዲስ የሆነው፥ ውሃውን በራሱ ክብደት አስገድዶ ዳገት በማስወጣቱ ነው።

ጉድለቱንም መናገር ይገባል። ውሃው በቧንቧ የሄደው ወደ ቤተ መንግሥቱ ነው። ከግቢው አጥር ውጭ ያለችው ሴት በማግሥቱም እንደ ትናንቱ እንስራዋን ይዛ ወደ ወንዝ ወረደች። ከተማይቱም በየኮረብታው እየሰፋች ስትሄድ ለቆሻሻ ውሃ መውረጃ አልተበጀላትም፤ የክረምቱ ጎርፍ የየሠፈሩን እድፍ ጠርጎ የሚያወርደው ያው ሕዝብ ወደሚቀዳበት ወንዝ ነበር። ይህ የአንድ መሐንዲስ ጥፋት አይደለም፤ የጊዜው ገንዘብና አሳብ ወደዚያ አላደላም ነበር። ሆኖም ውሃን ማምጣት ከጀመሩ ዘንድ የሚመለስበትን ማሰብ የሥራው ግማሽ ነውና፥ በዚህ ረገድ ሥራው ተጀምሮ ቀረ ማለት ይቻላል። ለሕዝቡ በብዛት የሚበቃ ውሃ የተገኘው ከብዙ ዓመታት በኋላ፥ መጀመሪያ ከገፈርሳ፥ ቀጥሎም በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከተፈጸመው ከለገዳዲ ግድብ ነው።

ሙሴ ኢልግንም ወደ ሌላ ሥራ የሳባቸው ያው የጊዜው አሳብ ነው። በ1886 ዓ.ም. የምድር ባቡር ለመሥራት የሚያስችለውን ውል ከዐፄ ምኒልክ ተቀበሉ፤ ሸፍኔ ከሚባለው ፈረንሳዊ ጋርም ማኅበር አቋቋሙ። ከዐድዋ ድል በኋላ በ1889 ዓ.ም. የመንግሥት አማካሪ ተባሉ፤ ከውጭ መንግሥታት ጋር በሚደረገው ጉዳይም ይሠሩ ነበር። ንግድም ነበራቸው፤ የመሣሪያም ንግድ ጭምር። በ1887 ዓ.ም. በአገራቸው ፋኒ ጋቲከር የምትባለውን ወይዘሮ አግብተው ወደ አዲስ አበባ አመጧት። መሐንዲስነታቸው ከዚህ ጊዜ ወዲህ በመልእክተኝነታቸው ተሸፈነ። እኛ ብንጠየቅ ውሃውን ቢቀጥሉት እንመርጥ ነበር።

የባቡሩ ሥራ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ዳዋ ከደረሰ በኋላ በገንዘብና በመንግሥታት ክርክር ተጓተተ። ሙሴ ኢልግም በኢትዮጵያ ከ25 ዓመት በላይ ከቆዩ በኋላ ወደ አገራቸው ሄዱ፤ በ1899 ዓ.ም. ገደማም ከመንግሥት ሥራ ተሰናበቱ። ከኢትዮጵያ የሰበሰቧቸው ዕቃዎችና ያነሷቸው ሥዕሎች በዙሪክ ቤተ መዘክር ይገኛሉ።

ያረፉት በዙሪክ ከተማ፥ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ጥር 7 ቀን 1916 ነው። ይህ ቀን በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 28 ቀን 1908 ዓ.ም. ይውላል። ዘመኑ ዘመነ ዮሐንስ በመሆኑ ልደት የተከበረው በዚያው ዕለት ነበር። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው ከዚያ ቀጥሎ በነበረው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያም ወዲህ የቧንቧ ብረት ከጠረፍ የሚመጣው በግመል መሆኑ ቀረ።