ጥቁሩ ዕንቁ አል-ዓረቢ ቢን ሙባረክ

በረመዳን ሌሊቶች የምናነሳው አብዛኛውን ጊዜ የሶሓቦችንና የዑለማዎችን ታሪክ ነው። ዛሬ ግን የአንድ ኳስ ተጫዋች ታሪክ ይዤ መጥቻለሁ። ምክንያቱ ልጆቻችን ናቸው። በ2022ቱ የኳታር ዓለም ዋንጫ ሞሮኮ ስፔንንና ፖርቱጋልን ጥላ ለግማሽ ፍጻሜ የደረሰች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት አገር ስትሆን፣ የሰፈራችን ልጆች የተጫዋቾቹን ስም ከጁዝ ዐማ አስቀድመው ሸመደዱት። ከወራት በኋላ በረመዳን ከተራዊህ ስንወጣ አንዱ ልጅ ከእነዚህ በፊት ትልቁ የሞሮኮ ተጫዋች ማን እንደነበር ጠየቀኝ። መልሱ በቆምንበት በር ላይ የሚያልቅ አልነበረም። (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፈረንሳዮች ላርቢ ቤን ባሬክ ብለው ጻፉት፤ እናት አባቱ ያወጡለት የዐረብኛ ስም ግን አል-ዓረቢ ቢን ሙባረክ ነው። የተወለደው ዐረቦች ዳሩል በይዷ በሚሏት በካዛብላንካ ነው። የልደት ዘመኑን አንዱ መዝገብ 1914፣ ሌላው 1917 ይለዋል። ለድሃ ልጅ የልደት ቀን የሚጽፍለት ሰው አልነበረም፤ እኛም አገር የምናውቀው ነገር ነው። ገና ልጅ ሳለ አባቱ ሞተና የቲም ሆነ። አናጺነት ተማረ፤ ከሥራ የተረፈውን ጊዜ በባዶ እግሩ ኳስ ሲያንከባልል ዋለ። ከሰፈር ሜዳ ወደ ከተማዋ ክለቦች ዘለቀ፤ በ1938ም የፈረንሳዩ ማርሴይ ባሕር አሻግሮ ወሰደው።

ከአጥቂዎቹ ጀርባ ሆኖ ኳስ እየተቀበለ ጨዋታውን የሚያቀናብር ሰው ነበር። ሁለቱም እግሩ ይሠራለታል፤ በጭንቅላትም ይገጫል። ማርሴይ በገባ በጥቂት ወራት ውስጥ ለፈረንሳይ ብሔራዊ ቡድን ተመረጠ። እዚህ ላይ ልጆች ሁሌም ግራ ይጋባሉ፤ ሞሮኳዊ ሆኖ እንዴት ለፈረንሳይ ይጫወታል? ሞሮኮ ከ1912 እስከ 1956 በፈረንሳይ ሞግዚትነት ሥር ነበረች፤ የራሷ ብሔራዊ ቡድን አልነበራትም። ኳታር ላይ ያየናቸው ልጆች ብዙዎቹ አውሮፓ ተወልደው የአባቶቻቸውን አገር የመረጡ ናቸው። ለአል-ዓረቢ ምርጫ የሚባል ነገር አልቀረበለትም።

የመጀመሪያ ጨዋታው ዲሴምበር 4 ቀን 1938 ናፖሊ ላይ ከጣሊያን ጋር ነበር። ዘመኑ የሙሶሊኒ ነው። ተመልካቹ በቆዳው ቀለም ምክንያት በፉጨትና በስድብ ተቀበለው። ቡድኑ 1 ለ 0 ተሸነፈ፤ እሱ ግን ጨዋታውን አልተወም። አገሩን የያዙበትን ሰዎች ማሊያ ለብሶ፣ በሦስተኛ አገር ሰዎች በጥቁረቱ መሰደብ ምን እንደሚመስል ቆም ብሎ ማሰብ ነው።

ከዚያ ጦርነቱ መጣና ወደ ካዛብላንካ ተመለሰ። የተጫዋች ምርጥ ዘመን የሚባሉትን ዓመታት ጦርነቱ በላበት። በ1945 ፓሪስ ለሚገኘው ስታድ ፍራንሴ ፈረመ፤ በ1948 አትሌቲኮ ማድሪድ ወሰደው። በ1950 እና በ1951 በተከታታይ የስፔንን ሊግ ዋንጫ አነሳ። ጥቁሩ ዕንቁ የሚለው ስም የእሱ ነበር፤ ብራዚላዊው ፔሌ በዚሁ ስም የተጠራው በኋላ ነው። ማድሪድ ላይ ደግሞ እግሩን ከፈጣሪ ጋር ያያያዘ ሌላ ቅጽል አወጡለት፤ እሱን እዚህ አልደግመውም።

የዓለም ዋንጫ ግን ሪዝቁ አልነበረም። የ1938ቱ ሲካሄድ ገና አልተመረጠም። የ1942 እና የ1946ቱ በጦርነቱ ምክንያት ቀሩ፤ በ1950 ፈረንሳይ አልተሳተፈችም፤ በ1954 ወደ ስዊዘርላንድ ከሄዱት ውስጥ ስሙ የለም። አርጅቷል ተብሎ ነበር። ወደ ማርሴይ ተመልሶ በዚያው ዓመት የፈረንሳይ ዋንጫ ፍጻሜ ደርሶ በኒስ 2 ለ 1 ተሸንፏል።

አሁን እኔ ከሁሉ የምወደው ቦታ ላይ ደረስን። ሴፕቴምበር 9 ቀን 1954 ሌሊት በአልጄሪያ ኦርሌአንቪል፣ ዛሬ ሽለፍ በምትባለው ከተማ፣ ምድር ተንቀጠቀጠች። ከ1,000 በላይ ሰው ሞተ፤ ብዙ ሺህ ቤተሰብ ያለ ጣሪያ ቀረ። ወር ሳይሞላ ኦክቶበር 7 ቀን ለተጎጂዎች ገንዘብ ለማሰባሰብ በፓሪስ ፓርክ ደ ፕሪንስ ሜዳ ጨዋታ ተዘጋጀ፤ በአንድ ወገን የፈረንሳይ ቡድን፣ በሌላው የሰሜን አፍሪካ ልጆች። አል-ዓረቢ ለዓመታት ማሊያውን በለበሰላት አገር ላይ፣ ለፍርስራሽ ሥር ወንድሞቹ ሶደቃ ተሰለፈ። የሰሜን አፍሪካ ቡድን 3 ለ 2 አሸነፈ፤ ያ አርጅቷል የተባለው ሰው ሜዳውን ሁሉ ይመራ ነበር። የአልጄሪያ የነጻነት ጦርነት የተጀመረው በቀጣዩ ኖቬምበር 1 ቀን ነው። በዚያ ምሽት ከነበሩት ተመልካቾች ማን ምን እንዳሰበ አላህ ያውቃል።

ጨዋታው ያስከተለው ነገር ማንም ያልጠበቀው ነበር። መራጮቹ አል-ዓረቢን መልሰው ጠሩት። ኦክቶበር 16 ቀን ሃኖቨር ላይ በዚያው በጋ የዓለም ዋንጫን ከወሰደችው ከምዕራብ ጀርመን ጋር ተጫወተ። ጉዳት ደርሶበት ቀድሞ ቢወጣም ፈረንሳይ 3 ለ 1 አሸነፈች። የመጨረሻው ሆነ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጨዋታው 15 ዓመት ከ10 ወር አለፈ፤ በፈረንሳይ ቡድን ታሪክ ይህን ያህል የቆየ የለም። በዚያ ሁሉ ዘመን የተሰለፈው ግን 17 ጊዜ ብቻ፣ ያገባውም 3 ጎል ነው።

ሞሮኮ በ1956 ነጻ ስትወጣ ብሔራዊ ቡድኗን አሠለጠነ። ተጫዋች ሆኖ ያልለበሰውን ማሊያ ለሌሎች አለበሰ። ከዚያ በኋላ ስሙ ቀስ በቀስ ከጋዜጣ ጠፋ።

በሴፕቴምበር 1992 ካዛብላንካ ውስጥ በመኖሪያ ቤቱ ብቻውን ሞተ። መሞቱ የታወቀው ከቀናት በኋላ ነው። ጀናዛ ማፋጠን ሱና በሆነበት፣ አዛን በየሰዓቱ በሚሰማበት ከተማ፣ በሩን ያንኳኳ ሰው አልነበረም። በዚህ ላይ ሌሎችን ለመውቀስ አፌ አይከፈትም። በኢማምነቴ ዘመን እንዲሁ ቆይተው የተገኙ አንድ አባት ጀናዛ አጥቤያለሁ። ባለፈው ጁምዓ በመስጂዱ በር ላይ ሰላም ብያቸው፣ እንዴት እንደሆኑ ሳልጠይቅ ቸኩዬ አልፌያቸው ነበር። የት እንደቸኮልኩ አሁን አላስታውስም።

ፊፋ ለአል-ዓረቢ የክብር ኒሻን የሰጠው በ1998 ነው፤ ከሞተ ስድስት ዓመት በኋላ። ካዛብላንካ ውስጥ በስሙ የሚጠራ ስታዲየም አለ። አላህ ይዘንለት።