የወገናቸውን ታሪክ ከመጥፋት ያቆዩት ታምራት አማኑኤል

ከባሕር ዳር ተነሥቶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ዓባይ ማዶን አልፎ ወደ ጎንደር የሚጓዝ መንገደኛ ጣና ሐይቅን በግራው ትቶ ይሄዳል። የፎገራን ሜዳ አቋርጦ፣ ወረታን፣ አዲስ ዘመንንና ማክሰኝትን አልፎ አዘዞ ይደርሳል። ከዚያ እስከ ሐይቁ ዳር የተንጣለለው ለም መሬት ደንቢያ ነው። ጎንደርን አልፎ ጥቂት ሲጓዝ ደግሞ ወለቃ የምትባል መንደር ያገኛል። በእነዚህ ሁሉ ስፍራዎች ለብዙ መቶ ዓመታት ቤተ እስራኤላውያን ኖረዋል። የገበሬውን ማረሻና ማጭድ የቀጠቀጡ፣ የእማወራዋን ምጣድና ጀበና የሠሩ፣ ሸማ የሸመኑ፣ ለጎንደር ነገሥታት ግንብ ድንጋይ የጠረቡ እጆች ከዚህ ወገን ነበሩ።

ዛሬ በመንደሮቹ የሚኖሩት ሌሎች ናቸው። የቀድሞዎቹ ነዋሪዎች ታሪክ በከፊል እንኳ በጽሑፍ ሊቆይ የቻለው አስቀድመው በደከሙ ጥቂት ሰዎች ጥረት ነው። ከእነዚያ ጥቂቶች አንዱ በዚሁ በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ፣ በጎንደር አካባቢ የተወለዱት ታምራት አማኑኤል ናቸው። (ከዚህ በታች ዓ.ም ካልተባለ በቀር ዘመናቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ተጠቅሰዋል።)

ቤተ እስራኤላውያን ኦሪትን በግእዝ ቋንቋ፣ በብራና ጽፈው ያነብቡ ነበር። ሰንበትን በጥብቅ ያከብራሉ፤ ቀሳውስትም ነበሯቸው። ከሌላው ዓለም አይሁድ የሚለያቸው አንድ ታላቅ ነገር ደግሞ ነበር፤ መነኮሳት ነበሯቸው። እንደ ራሳቸው ትውፊት የምንኩስናውን ሥርዓት የጀመሩት በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበሩት አባ ሳብራ ናቸው። መነኮሳቱ ከሕዝቡ ተለይተው እየኖሩ ቀሳውስትን ያስተምሩ፣ መጻሕፍትን ይገለብጡ፣ የአባቶችን ታሪክ ለተተኪው ያወርሱ ነበር።

ይህ ሕዝብ ከነገሥታቱ ጋር ለረጅም ዘመን ተዋግቷል። ከአፄ ይስሐቅ እስከ አፄ ሱስንዮስ ዘመን የተደረጉት ጦርነቶች በመጨረሻ ነጻነቱን አሳጡት፤ ብዙውም ርስቱን አጣ። ርስት የሌለው ሰው የሌላውን መሬት በእርሻ ተጋርቶ ያርሳል፤ አለዚያም በእጁ ሥራ ይተዳደራል። ማረሻውን የሚፈልገው ጎረቤት ግን ማረሻውን የሠራውን ሰው ቡዳ እያለ ይርቀው ነበር። የጦርነቱን ታሪክም የጻፉት የአሸናፊዎቹ ጸሐፍት ናቸው፤ የተሸናፊው ወገን ታሪክ በአብዛኛው በሽማግሌዎችና በመነኮሳት አፍ ቀረ። በአፍ የሚኖር ታሪክ ደግሞ ዕድሜው ከተናጋሪው ዕድሜ አይበልጥም።

ታምራት የተወለዱት በ1888 ነው። ያ ዘመን ለዚህ አካባቢ የመከራ ዘመን ነበር። የመሐዲስቶች ጦር ወደ ደንቢያና ጎንደር ገብቶ ከተማዪቱን አቃጠለ። ወዲያው ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም የዘለቀው ክፉ ቀን ተከተለ። የከብት ወረርሽኝ የእርሻ በሬውን ፈጀ፤ ገበሬው ጠምዶ ማረስ ተሳነው፤ ጎተራው ባዶ ቀረ። ቤተ እስራኤላውያንም እንደ ጎረቤቶቻቸው በረኀብና በበሽታ አለቁ፤ የተረፉትም ተበተኑ። የመነኮሳቱ ቁጥር እጅግ ተመናመነ። አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ሲሞት የመቃብሮቹ ቦታ፣ የቅዱሳኑ ስም፣ የጸሎት ስፍራዎቹ ታሪክ አብሮት ይቀበር ነበር።

የታምራት ቤተሰብ ከአይሁድነት የወጣ ቤተሰብ ነበር። ከአውሮፓ የመጡ የፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያን በደንቢያና በጎንደር ዙሪያ በቤተ እስራኤላውያን መካከል ሲሰብኩ ቆይተዋል፤ ስብከቱን ከተቀበሉት መካከል የእርሳቸው ወላጆች ይገኙበታል። ልጁ ታምራትም ወደ ኤርትራ ተሻግረው አሥመራ በሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ። የአባቶቻቸውን ሃይማኖት ሳይሆን የሚሲዮናውያኑን ትምህርት እየተማሩ አደጉ።

ሕይወታቸውን የለወጠው ሰው በ1905 አሥመራ ደረሰ። ይህ ሰው ዣክ ፋይትሎቪች ይባላል። በፖላንድ ሎድዝ ከተማ የተወለደ አይሁዳዊ ሲሆን በፓሪስ የሴም ቋንቋዎችን የተማረው በ1860ዎቹ ቤተ እስራኤላውያንን ከጎበኘው ከምሁሩ ጆዜፍ አሌቪ ዘንድ ነው። በ1904 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በመንደሮቹ ከተዘዋወረ በኋላ ወደ አውሮፓ ሲመለስ ሁለት ወጣቶችን ይዞ ሄደ። አንደኛው ጌቴ ኤርምያስ፣ ሁለተኛው የ17 ዓመቱ ታምራት ነበሩ።

ታምራት በመጀመሪያ ፓሪስ በሚገኝ የአይሁድ መምህራን ማሠልጠኛ ተማሩ። ከዚያም ወደ ጣሊያን አልፈው በፍሎረንስ የረቢዎች ኮሌጅ ትምህርታቸውን ቀጠሉ። ፈረንሳይኛን፣ ጣሊያንኛንና ዕብራይስጥን አጠኑ። አባቶቻቸው በግእዝ ያነበቡትን ኦሪት እርሳቸው በዕብራይስጥ አነበቡት። በዚያ ዘመን ብዙ የአውሮፓ አይሁድ ቤተ እስራኤል የሚባል ወገን መኖሩን አያውቁም ነበር፤ የሚያውቁትም ቢሆኑ ብዙዎቹ አይሁድነቱን ይጠራጠሩ ነበር። ጥቁሩ ወጣት በፍሎረንስ የትምህርት ክፍል መቀመጣቸው ብቻ ለጥርጣሬው አንድ መልስ ነበር።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ፋይትሎቪች በአዲስ አበባ ለቤተ እስራኤል ልጆች ትምህርት ቤት ሲከፍት ታምራት ርእሰ መምህር ሆኑ። ያን ጊዜ ከጎንደር አዲስ አበባ የሚያደርስ የመኪና መንገድ አልነበረም፤ ልጆቹ በእግርና በበቅሎ ብዙ ቀን ተጉዘው ይመጡ ነበር። አማርኛና ዕብራይስጥ፣ የውጭ ቋንቋ፣ ሒሳብና የሃይማኖት ትምህርት ይሰጣቸው ነበር። ከዚህ ሥራ ጋር በተያያዘ ከሃያ በላይ ወጣቶች ለትምህርት ወደ አውሮፓ፣ ወደ ግብፅና ወደ ኢየሩሳሌም ተልከዋል። አንዳንዶቹ በባዕድ አገር በሕመም ሞቱ፤ ከተመለሱት መካከልም በመንግሥት ሥራ ከፍ ያለ ደረጃ የደረሱ አሉ። ወለቃ የተወለዱትና ኋላ የቤተ እስራኤል መሪ የሆኑት ዮና ቦጋለም ከእነዚህ ተማሪዎች አንዱ ናቸው፤ በአዲስ አበባው ትምህርት ቤትም አስተምረዋል።

ትምህርት ቤቱ የሚተዳደረው ከአውሮፓና ከአሜሪካ አይሁድ በሚሰበሰብ ገንዘብ ነበር። ታምራት በ1930ዎቹ መጀመሪያ ርዳታ ለማሰባሰብ እስከ አሜሪካ ተጉዘዋል። በዚያ ያሉ አይሁድ ከስፔንና ከፖርቱጋል፣ ኋላም ከምሥራቅ አውሮፓ ፈልሰው የሄዱ ሰዎች ልጆች ናቸው፤ የአያቶቻቸውን ስም በመዝገብ፣ መቃብራቸውን በድንጋይ ጽሑፍ፣ ታሪካቸውን በማኅበርና በመጽሐፍ ጠብቀው ይዘዋል። በጣና ዳር ያለው ወገን ግን እንዲህ ያለ መዝገብ አልነበረውም። መዝገቡ ሰው ነበር።

የታምራት ሕይወት ውስጣዊ ችግር እዚህ ላይ ይታያል። የፋይትሎቪች ዓላማ ቤተ እስራኤላውያንን ወደ ሌላው ዓለም አይሁድ ሥርዓት ማቅረብ ነበር። ዕብራይስጥ እንዲማሩ፣ የአውሮፓውን የጸሎትና የበዓል ልማድ እንዲይዙ፣ የእንስሳ መሥዋዕትንና ምንኩስናን የመሰሉ የቆዩ ሥርዓቶችን እንዲተዉ ይፈለግ ነበር። ምክንያቱ ከንቱ አልነበረም፤ የተለየ ሆኖ የቀረ ወገን ወንድም ነኝ ቢል የሚያምነው አያገኝም፤ ሚሲዮኑም ሲወስደው የሚደርስለት የለም። ይሁን እንጂ የሚተወው ሥርዓት የሕዝቡ የራሱ ታሪክ ነበር። ልጆቹ አዲሱን ሲማሩ አሮጌውን የሚጠይቅ እየጠፋ ይሄዳል። ለውጡን የሚያስተምሩት መምህር ታምራት ራሳቸው ነበሩ።

እርሳቸው የመረጡት ሁለቱንም መሥራት ነበር። አዲሱን ትምህርት እያስተማሩ፣ ሊጠፋ የተቃረበውን በማስታወሻ መያዝ ጀመሩ። መነኮሳቱ እነማን እንደነበሩ፣ በየትኛው ስፍራ እንደኖሩ፣ ሕዝቡ ለበረከትና ለጸሎት የሚሄድባቸው ቅዱሳን ቦታዎች የት እንደሆኑ መዘገቡ። ሚሲዮን ያሳደጋቸው፣ አውሮፓ ያስተማራቸው ሰው የአባቶቻቸውን ነገር እንደ አዲስ ጠይቀው መማር ነበረባቸው። ምናልባትም የጠፋ ነገር ምን ያህል እንደሚያስከፍል የሚያውቅ፣ በልጅነቱ ያጣው ሰው ነው።

በ1936 ፋሺስት ጣሊያን አዲስ አበባን ያዘ። ታምራት የወራሪውን ቋንቋ አሳምረው ያውቁ ነበር፤ የተማሩት በጣሊያን ነው፤ በዚያ መምህራንና ወዳጆች ነበሯቸው። ከጣሊያን አይሁድ የተላከ ሰው ቤተ እስራኤላውያንን ለማጥናት በመጣ ጊዜም ረድተውታል። ነገር ግን በየካቲት 1929 ዓ.ም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ የተማረ ኢትዮጵያዊ ሁሉ እየታደነ ይገደል ጀመር። ታምራት አገር ጥለው ተሰደዱ። ለዓመታት የደከሙበት ትምህርት ቤት ተዘጋ። በ1938 ደግሞ የፋሺስቱ መንግሥት የዘር ሕግ አውጥቶ የራሱን አይሁድ ዜጎች ከትምህርትና ከመንግሥት ሥራ አባረረ።

ኢትዮጵያ በ1941 ነጻ ስትወጣ ተመልሰው በትምህርት ዘርፍ መንግሥትን አገለገሉ። በአገር ቤት ፕሮፌሰር ታምራት ተብለው ይጠሩ ነበር። ስለ ኢትዮጵያ ደራስያን በአማርኛ ያዘጋጁት ጽሑፍ የአገሪቱን ዘመናዊ ጸሐፊዎች ሕይወትና ሥራ ካጠኑት ቀደምት ጽሑፎች አንዱ ነው፤ ከእርሳቸው በኋላ የመጡ የታሪክና የሥነ ጽሑፍ ተመራማሪዎች ደጋግመው ይጠቅሱታል። ይህም የታምራት ጠባይ ነበር፤ ስለ ቤተ እስራኤል እንደተጨነቁ ሁሉ ስለ መላው ኢትዮጵያ ጸሐፊዎች ስምና ሥራ መጥፋትም ተጨንቀዋል። ሁለቱ ፍቅሮች በእርሳቸው ዘንድ አልተጣሉም። ኋላም በፓሪስ በኢትዮጵያ ሌጋሲዮን ሠርተዋል።

በ1940ዎቹ አጋማሽ ወልፍ ሌስላው የተባለ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሊቅ ቤተ እስራኤላውያንን ለማጥናት መጣ። በ1951 ባሳተመው መድበል ትእዛዘ ሰንበትን የመሰሉ የግእዝ ድርሳኖቻቸውን ተርጉሞ ለዓለም አስተዋወቀ። ስለ መነኮሳትና ስለ ቅዱሳን ቦታዎች የተጻፉት የታምራት ማስታወሻዎችም በዚሁ ምሁር እጅ ገቡ።

ታምራት አማኑኤል በ1963 በኢየሩሳሌም ዐረፉ። ፋይትሎቪች ከእርሳቸው ስምንት ዓመት ቀድሞ ሞቷል፤ የሰበሰባቸው መጻሕፍትና ሰነዶች ዛሬ በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ። ታምራት የደከሙለት ነገር ፍሬውን ያሳየው ከሞቱ በኋላ ነው። በ1973 የእስራኤል ሊቀ ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤላውያን በእርግጥ አይሁድ መሆናቸውን ወሰኑ። በ1974 ሌስላው የታምራትን ማስታወሻዎች አሳተመ። ከ10 ዓመት በኋላ በ1984 እና በ1985 በሱዳን በኩል፣ በግንቦት 1991 ደግሞ በአውሮፕላን ከአዲስ አበባ፣ ሕዝቡ በብዛት ወደ እስራኤል ሄደ። በ1991 በ36 ሰዓት ውስጥ የተጓዙት ብቻ ከ14 ሺህ በላይ ነበሩ። በሱዳን በኩል በእግር ከወጡት ደግሞ ብዙዎች በመንገድና በመጠለያ ሞቱ።

ከዚያ በኋላ የትኛው ጉብታ ላይ የትኛው መነኩሴ እንደጸለየ፣ የትኛው ዛፍ ሥር ማን እንደተቀበረ በመንደሩ ተቀምጦ የሚናገር ሽማግሌ እምብዛም አልቀረም። ታምራት የጻፉት ግን ቀረ። የተጻጻፏቸው ደብዳቤዎችም በ2000 ተሰብስበው በመጽሐፍ ታትመዋል። ዛሬ በእስራኤል ተወልደው የአያቶቻቸውን መንደር ለማየት የሚመጡ ወጣቶች የሚፈልጉትን የቦታ ስም ከጽሑፍ የሚያገኙት አስቀድሞ የጻፈ ሰው ስለነበረ ነው።

የቦታዎቹ ሌላው ጠባቂ በዚያው የሚኖረው ሰው ነው። በደንቢያና በጎንደር ዙሪያ የቀድሞ ጎረቤቶቻቸውን መቃብር ሳያርሱ፣ የጸሎት ቤቶቻቸውን ድንጋይ ለአጥር ሳያነሡ ያቆዩ ገበሬዎች ታምራት በብዕር የሠሩትን በእጃቸው እየሠሩ ነው። የእነዚያ ጎረቤቶች ስም፣ የሠሩት ማረሻ፣ አብረው የተካፈሉት የክፉ ቀን መከራ በአባቶች ትዝታ ውስጥ አሁንም ካለ፣ ልጆች ጠይቀው እንዲጽፉት ጊዜው ገና አላለፈም። ታምራትም የጀመሩት ሽማግሌዎችን በመጠየቅ ነበር።