የሰውን ኑሮ ይመለከት የነበረው ሐኪም፤ አንቶን ቼኮቭ

ባለፈው ዓመት በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ድርሰት እንድንጽፍ በታዘዝን ጊዜ፣ የምጽፈው ነገር አጥቼ ብዙ ከተጨነቅሁ በኋላ ስለ አንዲት ጎረቤታችን ጻፍሁ። እኒህ ሴትዮ ልጃቸው ከሞተባቸው ወዲህ ቡና ባፈሉ ቍጥር ሳይታወቃቸው አንድ ሲኒ ጨምረው ይደረድራሉ፤ ሊቀዱ ሲሉ ደግሞ ያችን ሲኒ ዝም ብለው ያነሧታል። ያየሁትን እንዳየሁት አድርጌ ጻፍሁት። ድርሰቱ ጥሩ ማርክ አገኘ፤ በክፍልም ውስጥ ተነበበ። ከሰሙት ተማሪዎች አንዱ ግን የሴትዮዋ ዘመድ ኖሮ ወሬው ከቤታቸው ደረሰ። እርሳቸው ምንም አልተናገሩኝም። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ባለሁበት ቡና አያፈሉም።

ለዘንድሮው መጽሔታችን የሩሲያዊውን ደራሲ የአንቶን ቼኮቭን የሕይወት ታሪክ የመረጥሁት በዚህ ምክንያት ነው። ቼኮቭ የዕለት ኑሮንና የሰውን ስሜት እየተመለከተ መጻፍን ዕድሜውን ሙሉ የተለማመደ ሰው ነው፤ እኔን ያጋጠመኝም ነገር እርሱን በባሰ ሁኔታ አጋጥሞታል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውልልኝ እለምናለሁ።

ቼኮቭ በ1860 በደቡብ ሩሲያ፣ በአዞቭ ባሕር ዳር በምትገኘው በታጋንሮግ ከተማ ተወለደ። አያቱ ከነቤተ ሰባቸው የአንድ ባላባት ንብረት ሆነው ይኖሩ የነበሩ ገባር ሲሆኑ፣ ገንዘብ አጠራቅመው በ1841 ራሳቸውንና ልጆቻቸውን ከጌታቸው ገዝተው ነጻ ወጡ። አባቱ ፓቬል የሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ ነበራቸው። እጅግ ሃይማኖተኛና ኃይለኛ ሰው ስለ ነበሩ ልጆቻቸውን በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ አስገብተው ሌሊት እየቀሰቀሱ ያዘምሯቸው፣ ጥፋት ባገኙባቸውም ጊዜ ይገርፏቸው ነበር። ትንሹ አንቶን ከትምህርት ቤት ሲመለስ በዚያ ብርዳም ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ ዕቃ ይጠብቃል፤ የቤት ሥራውንም እዚያው ይሠራል። ይህን በምሬት ያስታውሰው ነበር። ሆኖም ወደ ሱቁ የሚገባው ሰው ሁሉ እንዴት እንደሚናገር፣ እንዴት እንደሚከራከር፣ ሳንቲሙን እንዴት አድርጎ እንደሚቈጥር ማየቱ አልቀረም፤ ሰው አስመስሎ በመናገርና በመራመድ ቤተ ሰቡን ያስቅ ነበር ይባላል። በትምህርቱ ግን ሁለት ጊዜ ክፍል ደግሟል። ይህንን የምጽፈው ለአስተማሪዎቻችን ሳይሆን ለአንዳንድ ጓደኞቼ መጽናኛ እንዲሆን ነው።

በ1876 አባቱ ከሰሩ። ለዕዳ እንዳይታሰሩ ፈርተው ወደ ሞስኮ ሸሹ፤ እናቱና ሌሎቹም ልጆች ተከተሏቸው። አንቶን ትምህርቱን እንዲጨርስ በአሥራ ስድስት ዓመቱ ብቻውን በታጋንሮግ ቀረ። ቤታቸውን በዕዳ ምክንያት የወሰደው ሰው በዚያው ቤት አንድ ጥግ ሰጠው፤ እርሱም በለውጡ የሰውየውን የዘመድ ልጅ ያስጠና ነበር። በገዛ ቤቱ እንግዳ ሆኖ ሦስት ዓመት ኖረ ማለት ነው። ሌሎች ልጆችንም እያስጠና ከሚያገኛት ጥቂት ገንዘብ ላይ ለእናቱ ይልክ ነበር።

በ1879 ሞስኮ ገብቶ በዩኒቨርሲቲው የሕክምና ትምህርት ጀመረ። ቤተ ሰቡ በጨለማ ምድር ቤት ተጨናንቆ ይኖር ስለ ነበረ ገንዘብ ማግኘት ነበረበት፤ ስለዚህ በ1880 ስትሬኮዛ በሚባል የቀልድ መጽሔት ላይ ማሳተም ጀመረ። ትክክለኛ ስሙን ለሕክምናው አስቀምጦ አንቶሻ ቼኮንቴ በሚል የብዕር ስም ይጽፍ ነበር። ቈየት ብሎም ኦስኮልኪ ለተባለው የፒተርስቡርግ መጽሔት ሲጽፍ የሚከፈለው በመሥመር ስምንት ኮፔክ ሲሆን፣ አንዱ ታሪክ ከመቶ መሥመር ያህል እንዳይበልጥ የመጽሔቱ አዘጋጅ ወስኖበት ነበር። በመሥመር ለሚከፈለው ድኻ ይህ ከባድ ነው። ነገር ግን በመቶ መሥመር ውስጥ ሰውየውን አቁሞ ለማሳየት የሚፈልግ ጸሐፊ ስለ ጠባዩ ብዙ ማውራት አይችልም፤ አንዲት የምትታይ ነገር፣ ኮት ቢሆን ሳል፣ መርጦ ማውጣት አለበት። ቼኮቭ ማሳጠርን የተማረው ከዚህ ይመስለኛል።

በ1884 ሐኪም ሆኖ ተመረቀ። ሐኪም ከሌላው ሰው ይልቅ የማየት ዕድል አለው። የታመመ ሰው ከአፉ የሚወጣው ሌላ፣ እጁና ዓይኑ የሚናገሩት ሌላ ነውና ሁለቱን ማስተያየት ያስፈልጋል።

በ1886 መጀመሪያ ላይ ያሳተመው አንድ ታሪክ ስለ አንድ ሽማግሌ ባለጋሪ የሚናገር ነው። የሽማግሌው ስም ኢዮና ነው፤ ወንድ ልጁ በዚያው ሳምንት ሞቶበታል። በፒተርስቡርግ ከተማ በረዶ ይጥላል፤ እርሱ በጋሪው ላይ ጐብጦ እንደ ተቀመጠ በረዶው ትከሻውንና የፈረሲቱን ጀርባ እስኪያለብስ ድረስ አይንቀሳቀስም። ከዚያ አንድ መኰንን ይሳፈራል፤ ሽማግሌው ስለ ልጁ ሊነግረው ሲጀምር መኰንኑ በምን እንደ ሞተ ጠይቆ ወዲያው ዓይኑን ይጨፍናል። ቀጥለው የሚጮኹና የሚሳደቡ ሦስት ጐረምሶች ይመጣሉ፤ ለእነርሱም ቢነግር አይሰሙትም። የበር ጠባቂው ያባርረዋል፤ በማደሪያው ያገኘው ወጣት ባለጋሪም ውኃ ጠጥቶ እንቅልፍ ይወስደዋል። በመጨረሻ ሽማግሌው ወደ ጋጣው ወርዶ ነገሩን ሁሉ ድርቆሽ ለምታኝከው ፈረሱ ይነግራታል። ታሪኩ ከጥቂት ገጾች አይበልጥም። እኔ ያነበብሁት የጎረቤታችን ነገር ከሆነ በኋላ ስለ ነበረ ደጋግሜ ሳነበው አመሸሁ። ኢዮና የሚሰማው ፈልጎ አጣ፤ እርሳቸው ግን ሰሚ ሳይፈልጉ እኔ በክፍል ሙሉ ተማሪ ፊት አሰማሁባቸው።

በዚያው በ1886 በመጋቢት ወር ዲሚትሪ ግሪጎሮቪች የተባለ የታወቀ አዛውንት ደራሲ ለቼኮቭ ደብዳቤ ላከለት። ተሰጥዎው እውነተኛ መሆኑን ገልጦ፣ በችኰላ እየጻፈ እንዳያባክነው አጥብቆ ለመነው። ቼኮቭ በመልሱ ለአንድም ታሪክ ከአንድ ቀን በላይ እንዳልደከመ በሐፍረት አመነ። ደግሞም የሚወዳቸውን ሥዕሎችና ትዝታዎች ለምን እንደ ሆነ ሳያውቀው በእነዚያ የችኰላ ታሪኮች ውስጥ ሳያወጣቸው ደብቆ ማኖሩን ገለጠ። በልቡ ያስቀመጠው ነገር ነበረው ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ጥቂትና በጥንቃቄ የተጻፈ ያወጣ ጀመር፤ በ1888 ስለ ታላቁ የሣር ሜዳ የጻፈውን ረጅም ታሪክ አሳተመ፤ የፑሽኪን ሽልማትንም ያገኘው በዚያው ዓመት ነው።

እንዴት እንደሚመለከት ከደብዳቤዎቹ ማወቅ ይቻላል። ለወንድሙ ለአሌክሳንድር በሰጠው ምክር፣ የጨረቃ ሌሊትን ለማሳየት ስለ ጨረቃ ውበት ማውራት እንደማያስፈልግ፣ በወፍጮው ግድብ ላይ የሚያብለጨልጭ የጠርሙስ ስባሪ ብቻ እንደሚበቃ አስረድቷል። አንዲት ጀማሪ ደራሲንም ስለ ኀዘንተኞች ስትጽፍ የራሷን ርኅራኄ ገትታ ቀዝቀዝ እንድትል መክሯታል፤ ጸሐፊው ቀዝቀዝ ባለ መጠን የሰውየው ኀዘን ጐልቶ ይታያልና። ደራሲው ኮሮሌንኮ ሊጠይቀው በሄደ ጊዜ ደግሞ ታሪክ እንዴት እንደሚጽፍ ሊያሳየው ከጠረጴዛው ላይ የሲጋራ መተርኮሻ አንሥቶ፣ ከፈለገ በማግሥቱ ስለዚያች መተርኮሻ ታሪክ እንደሚኖር ነግሮታል።

ነገር ግን ቼኮቭ ከመስኮት ሆኖ የሚያይ ብቻ አልነበረም። ሠዓሊ የነበረው ወንድሙ ኒኮላይ በ1889 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ፤ በሚቀጥለው ዓመት በ1890 ቼኮቭ ማንም ሳይልከው በሩቅ ምሥራቅ ወደምትገኘው የእስረኞች ደሴት ወደ ሳካሊን ሄደ። የሳይቤሪያ ባቡር ገና ስላልተሠራ በጭቃና በጐርፍ መካከል በፈረስ ጋሪና በወንዝ ጀልባ ሁለት ወር ተኩል ያህል ተጓዘ። በደሴቲቱ ሦስት ወር ቈይቶ ከቤት ወደ ቤት እየዞረ ወደ 10,000 የሚጠጉ የቈጠራ ካርዶችን ሞላ። የእያንዳንዱን ሰው ስም፣ ዕድሜ፣ ሃይማኖት፣ የትውልድ ስፍራ፣ ማንበብ መቻል አለመቻሉን ይጽፍ ነበር። አንድ እስረኛ ሲገረፍ ቆሞ ተመለከተ፤ ከዚያ በኋላ ገራፊው በሕልሙ እየመጣ ሌሊቱን ይረብሸው ነበር። ስለ ደሴቲቱ የጻፈው መጽሐፍ በ1895 ታተመ። ለደሴቲቱ ትምህርት ቤቶችም መጻሕፍት እየሰበሰበ ልኳል።

ጥፋቱን ደግሞ መደበቅ አይገባኝም። ቼኮቭ ኢሳክ ሌቪታን የሚባል የቅርብ ወዳጅ ነበረው፤ የሩሲያን ሜዳና ወንዝ በመሣል የታወቀ ሠዓሊ ነው። ሌቪታን ከአንዲት የሐኪም ሚስት ጋር የነበረውን ፍቅር ወዳጆቻቸው ሁሉ ያውቁ ነበር። በ1892 ቼኮቭ አንድ ታሪክ አሳተመ፤ በታሪኩ ውስጥ አንዲት የሐኪም ሚስት ከሠዓሊ ጋር ትወዳጃለች፤ የምትንቀው ትሑት ባሏም የታመመ ሕፃን ሲያክም በሽታው ተላልፎበት ይሞታል። ሠዓሊው ራስ ወዳድና ቀሽም ሰው ሆኖ ተሥሏል። ሴቲቱም ሌቪታንም ራሳቸውን አወቁ፤ እጅግም ተቈጡ። ቼኮቭ በታሪኩ ያለችው ሴት ወጣት ቈንጆ መሆኗን፣ የምትቈጣው ግን በዕድሜ የገፋች መሆኗን እየጠቀሰ ራሱን ተከላከለ። ይህ መልስ ለእኔ ጥሩ መልስ አይመስለኝም፤ እኔም የሴትዮዋን ስም አልጠራሁም ብዬ ራሴን ስከላከል ሰንብቻለሁና። ሁለቱ ወዳጆች ሦስት ዓመት ያህል ሳይነጋገሩ ቈዩ።

በዚሁ በ1892 ቼኮቭ ከሞስኮ በስተ ደቡብ በሜሊሆቮ መንደር እርሻ ገዝቶ ከነቤተ ሰቡ ገባ። ኮሌራ ባስፈራበት በዚያ ዓመት 25 መንደሮች፣ 4 ፋብሪካዎችና አንድ ገዳም ኀላፊነቱ ሆነው ያለ ደመወዝ አገለገለ። ገበሬዎች ከንጋት ጀምረው ደጁ ላይ ተሰልፈው ይጠብቁት ነበር። በአካባቢው ሦስት ትምህርት ቤቶች አሠራ። ስለ ገበሬዎች ኑሮ የጻፋቸው ታሪኮች የበሰሉት በዚህ ጊዜ ነው። በ1895 መጀመሪያ ላይ አንዲት የጋራ ወዳጅ ሌቪታንን ይዛ ወደ ሜሊሆቮ መጣች። ሁለቱ በደጅ ተያይተው እጅ ለእጅ ተጨባበጡ፤ ስለ ሌላ ጉዳይም መነጋገር ጀመሩ።

ስለ ቴአትሮቹ ብዙ ተጽፏልና አሳጥራለሁ። ስለ ባሕር ወፍ የሰየመው ቴአትር በ1896 በፒተርስቡርግ ሲታይ ሕዝቡ ሣቀበት፤ በ1898 ግን በሞስኮ የሥነ ጥበብ ቴአትር ታላቅ ምስጋና አገኘ። በ1897 ደም ከሳንባው በብዛት ወጣ። ከ1884 ጀምሮ ደም ሲተፋ ኖሮ ሌላ ሐኪም እንዲመረምረው አለመፍቀዱ ያስገርማል፤ የሌላውን ሕመም ከፊቱ የሚያነብ ሰው የራሱን ማንበብ አልፈለገም። ከዚህ በኋላ ለአየሩ ሲል በክሪሚያ በያልታ ከተማ ቤት ሠርቶ ኖረ። በ1901 ተዋናይቱን ኦልጋ ክኒፐርን አገባ። በ1904 በሐምሌ ወር ባደንቫይለር በተባለች የጀርመን የጠበል ከተማ በ44 ዓመቱ ዐረፈ። አስከሬኑ ወደ ሞስኮ የተመለሰው የባሕር ምግብ በሚጫንበት በቀዝቃዛ የባቡር ፉርጎ ነበር።

ከ1891 ጀምሮ የሚይዛቸው ትንንሽ ማስታወሻ ደብተሮች ከእርሱ በኋላ ተገኝተዋል። የሰማው ቃል፣ ያየው አለባበስ፣ ያስገረመው ስም ተጽፎባቸዋል፤ በታሪክ ውስጥ ያገባውን እየሰረዘ ሲሄድ ያልተሰረዘ ብዙ ቀርቷል።

ሌቪታን በ1899 መጨረሻ፣ በልብ በሽታ ተይዞ ሳለ፣ ቼኮቭን ለመጠየቅ ያልታ ሄዶ ነበር። ቼኮቭ በዚያ በባሕሩና በተራራው አገር ሆኖ የሰሜኑን የሩሲያ ሜዳ እንደ ናፈቀ ነገረው። ሌቪታን ካርቶን እንዲሰጡት ጠየቀና በጨረቃ ብርሃን የሚታዩ የድርቆሽ ክምሮች ሣለለት፤ ሥዕሉንም በቼኮቭ የጽሕፈት ክፍል፣ ከምድጃው በላይ ባለው ጐድጓዳ ስፍራ አኖሩት። ሌቪታን በ1900 ሞተ። የቼኮቭ እኅት ማሪያ ቤቱን እስከ ዕለተ ሞቷ እስከ 1957 ስትጠብቅ፣ ሥዕሉ ከዚያው ከምድጃው በላይ ነበረ።