ካባው፣ ሽጉጡና ሜዳው
የደጃዝማች ባልቻ ሳፎ (አባ ነፍሶ) የሕይወት ታሪክ

አማርኛ አጭሩን የእጅ ጠመንጃ ሽጉጥ ብሎ ሲሰይመው ስሙን ያወጣለት ከሚያሰማው ድምፅ ወይም ከመጣበት አገር ሳይሆን ከሚቀመጥበት ሥፍራ ነው። ሸጐጠ ማለት በጠባብ ቦታ አስገብቶ ሸሸገ ማለት በመሆኑ፣ ሽጉጥ የተሸጐጠው ነገር ነው። የሚሸጐጠውም በመቀነት ውስጥ፣ ከሸማ ሥር፣ ከካባ በታች ነው። እንግዲህ ይህ መሣሪያ በቋንቋችን ውስጥ ከልብስ ተለይቶ የሚታሰብ አይደለም ማለት ነው። የልብስና የጨርቃ ጨርቅ ሥራ ባለሙያዎች የሆንነው የዚህ ማኅበር አባላት፣ ስለ መሣሪያ የሚነገር ታሪክ አይመለከተንም ለማለት የማንችለውም ስለዚህ ነው።

ለብዙ ዘመን በጨርቃ ጨርቅ ሥራ ስሟ ከታወቀው ከአቃቂ ተነሥቶ በቃሊቲ በኩል ወደ መሐል አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው፣ ዛሬ ነፋስ ስልክ የሚባለውን ሠፈር ያገኛል። ሥፍራው አሁን በቤትና በመንገድ ተሞልቷል። በ1920 ዓ.ም. ግን ከከተማው ውጭ ያለ ሜዳ ነበር። በዚያ ሜዳ ላይ አንድ ታላቅ የጦር ሰው ድንኳኑን ተክሎ፣ አንድ ጥይት ሳይተኰስበት ሠራዊቱን በአንድ ቀን አጥቷል። ያ ሰው ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ነበሩ።

ደጃዝማች ባልቻ የተወለዱት በጉራጌ ምድር ነው። የዳግማዊ ምኒልክ ጦር ወደዚያ አገር በዘመተበት ጊዜ ገና ልጅ ሳሉ ተሰለቡ፤ ከዚያም ተወስደው በቤተ መንግሥት አደጉ። ስለዚህ ዘርና ወራሽ የማይኖራቸው፣ ወገንና ርስት ያልተከተላቸው ሰው ሆኑ። የነበራቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም ያሳደጋቸውን ጌታ በታማኝነት ማገልገል ነው። ይህ ታማኝነት ኋላ ለክብራቸውም ለውድቀታቸውም ምክንያት ስለሚሆን አንባቢ በልቡ እንዲይዘው ያስፈልጋል።

በቤተ መንግሥት ከማዕረግ ወደ ማዕረግ ከፍ እያሉ በጅሮንድ ለመሆን በቁ። በመቀሌ ከበባና የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በተደረገው የዓድዋ ጦርነት በመድፈኞች መሪነታቸው ስማቸው ገነነ። የፊታውራሪ ገበየሁን መውደቅና የባልቻን መተካት ሕዝቡ በግጥም አስሮ ለልጅ ልጅ አስተላልፎታል። ከጦርነቱም በኋላ የደጃዝማችነት ማዕረግ አግኝተው ሲዳሞን እንዲያስተዳድሩ ተሾሙ፤ በመካከሉም ሐረርጌን ገዙ። በ1902 ዓ.ም. ሐረርጌ ለወጣቱ ለደጃዝማች ተፈሪ መኰንን ተሰጠ። የሁለቱ ሰዎች ስም በዚህ የሹመት ዝውውር ላይ ጐን ለጐን ይገኛል።

ደጃዝማች ባልቻ ወደ ሲዳሞ ተመልሰው ለብዙ ዓመታት እንደ ትንሽ ንጉሥ ኖሩ። የታሪክ ጸሐፊ የጀግናን ስም ሲያነሣ ጥላውንም አብሮ ማንሣት ይገባዋል። አገዛዛቸው ጽኑና ጨካኝ ነበር። ገባሩ መሬቱንና ጉልበቱን ለነፍጠኛው የሚገብርበት ሥርዓት በዚያ አገር ላይ ከባድ ቀንበር ነበር። የሲዳሞ ቡና ገበያ እየሰፋ ሲሄድም ከዚያ የሚገኘው ገቢ በአብዛኛው በአገረ ገዢው እጅ ይቀር ነበር። መድፉን በዓድዋ ለነጻነት የተኰሰው እጅ፣ በሲዳሞ ገበሬ ላይ የከበደ እጅ ነበር።

እዚህ ላይ የዘመኑን አለባበስ ጥቂት እንመልከት። በዚያ ጊዜ መኰንን ሲለብስ ማዕረጉን ይናገር ነበር። ከውስጥ እጀ ጠባብና ሱሪ፣ በወገቡ ላይ መቀነት ወይም ዝናር፣ ከላይ ሸማ፣ ከሸማውም ላይ እንደ ክብሩ ጥቁር በርኖስ ወይም በወርቅ የተጠለፈ የሐር ካባ ይደርባል። ጐራዴው በቀኝ ወገቡ ስለሚታጠቅ የሸማውን ጫፍ ከኋላ ወደ ላይ ያነሣዋል፤ ስለዚህ ጐራዴ አይደበቅም። ጠመንጃም ቢሆን በአሽከር ትከሻ ላይ ሆኖ ከጌታው ኋላ የሚሄድ፣ እንዲታይ የተያዘ ነገር ነው። ውጅግራውና ምንሽሩ የሚቈጠር፣ የሚያስፈራ፣ የሚያስከብር ሀብት ነበር። ሽጉጥ ግን በተቃራኒው አይቈጠርም። ካባው ሰፊ፣ እጥፋቱም ብዙ ስለሆነ፣ በመቀነቱ ውስጥ ያለውን የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው።

የአገሩ ወግ ይህን አደጋ ሳያውቀው አልቀረም ለማለት የሚያስችል ነገር አለ። በታላቅ ሰው ፊት የሚቀርብ ሰው ሸማውን ከትከሻው አውርዶ ያደገድጋል። ማደግደግ የአክብሮት ምልክት ነው። ነገር ግን ልብስ ለሚያውቅ ሰው ሌላም ትርጕም ይሰጠዋል። ትከሻና ክንድ ሲገለጥ፣ እጅም ከጨርቅ እጥፋት ውጭ ሲታይ፣ ፊት ለፊት የተቀመጠው ሰው ያለ ሥጋት ይቀመጣል። ተከናንቦ ወይም ካባውን ደርቦ የሚገባ ግን ወይ እኩያ ነው፣ ወይ የማይታመን ነው።

አሁን ወደ 1920 ዓ.ም. እንመለስ። ዳግማዊ ምኒልክ ካረፉ ዘመን አልፏል። ከመስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ጀምሮ ንግሥት ዘውዲቱ በዙፋን፣ ራስ ተፈሪ በአልጋ ወራሽነትና በእንደራሴነት ነበሩ። የአሮጌው ዘመን ምሰሶ የነበሩት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስና አቡነ ማቴዎስ በ1919 ዓ.ም. በጥቂት ቀን ልዩነት ዐረፉ። ራስ ተፈሪ አውሮጳን ጐብኝተው፣ ኢትዮጵያን በመንግሥታት ማኅበር አስገብተው፣ ገቢን ወደ ማእከላዊ ግምጃ ቤት ለመሰብሰብ ይጥሩ ነበር። ደጃዝማች ባልቻ ግን ታማኝነታቸው ለምኒልክና ለልጃቸው ለንግሥቲቱ እንጂ ለእንደራሴው አልነበረም። የሲዳሞን ገቢ አስመልክቶ በተደጋጋሚ ወደ አዲስ አበባ ሲጠሩ ዘገዩ። በመጨረሻ በየካቲት ወር መጡ። አመጣጣቸው ግን ተጠርቶ እንደመጣ ሹም ሳይሆን ሊዋጋ እንደመጣ ጌታ ነበር። ወደ 10,000 የሚገመት ሠራዊት አስከትለው በነፋስ ስልክ ሜዳ ሠፈሩ።

ራስ ተፈሪ ቊጣን በቊጣ አልመለሱም። ለክብራቸው ግብር እንደሚያበሉ ላኩባቸው። ደጃዝማች ባልቻ ግብዣውን የተቀበሉት በጥንቃቄ ነበር። ከሠራዊታቸው መካከል ወደ 600 የሚሆኑ የተመረጡ ጋሻ ጃግሬዎችን ይዘው፣ ሰዎቻቸው መሣሪያቸውን ሳይፈቱና በጠጅ ሳይሰክሩ እንዲጠብቋቸው አስጠንቅቀው ወደ ግቢ ገቡ። በዚያ ቀን ማን ምን እንደ ታጠቀ፣ ከየትኛው ካባ ሥር ምን እንደ ተሸጐጠ የቈጠረ የለም። የግብሩ አዳራሽ ግን ተዘጋጅቶ የመጣና ዝግጅቱን በልብስና በፈገግታ የሸፈነ ሰው የሞላበት እንደ ነበረ ከታሪኩ አካሄድ ይታወቃል። ብርንዶው ቀረበ፣ ጠጁ ተቀዳ፣ አክብሮቱ ከሚጠበቀው በላይ ሆነ። ማንም እጁን ወደ መቀነቱ አልሰደደም።

አደጋው በአዳራሹ ውስጥ አልነበረም። ጌታው በግብር ላይ ሳሉ ራስ ካሣ ኃይሉ ወደ ነፋስ ስልክ ሜዳ ሄደው ነበር። በዚያም ለወታደሩ ገንዘብ እየሰጡ መሣሪያውን ተቀብለው ወደ አገሩ አሰናበቱት። ማሪያ ትሬዛው ብር መትረየስ ያልሠራውን ሠራ። ደጃዝማች ባልቻ ከግብር ወጥተው ወደ ሠፈራቸው ሲመለሱ ያገኙት ባዶ ሜዳ ነበር። ሲዳሞም ለደጃዝማች ብሩ ወልደ ገብርኤል ተሰጠ። ሽማግሌው የጦር ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን ተጠግተው ቈዩና በኋላ እጃቸውን ሰጡ። በመስከረም 27 ቀን 1921 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ንጉሥ ተብለው ዘውድ ሲጭኑ፣ ደጃዝማች ባልቻ ከሥልጣን ወርደው ነበር። ከእስራት በኋላም ከዓለም ተለይተው በጸሎት እንዲኖሩ ተፈቀደላቸው።

ይህን ታሪክ የተንኰልና የብልጠት ጨዋታ አድርጎ መተረክ የተለመደ ነው። ነገሩ ግን ከዚያ የጠለቀ ይመስለኛል። ደጃዝማች ባልቻ የተጠነቀቁት ለሰውነታቸው ነው። ሥጋት ከፊት ለፊት ካለው ሰው እጅ ይመጣል ብለው ስላሰቡ ራሳቸውን በታጠቀ ሰው አጠሩ። በሜዳ የቀረው ወታደር ግን ጌታውን የተከተለው በፍርሃትና በጥቅም ስለነበረ፣ የበለጠ ጥቅም ሲቀርብለት የሚያቆየው ነገር አልነበረም። በሲዳሞ የተዘራው በነፋስ ስልክ ታጨደ። በካባ ሥር የተሸጐጠ መሣሪያ አንድን ሰው ሊያድን ይችል ይሆናል፤ የተበታተነ ልብ ግን አይሰበስብም።

ታሪካቸው በዚህ ቢያበቃ ኖሮ የተሸነፈ መኰንን ታሪክ ሆኖ ይቀር ነበር። በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣሊያ አዲስ አበባን ስትይዝ ደጃዝማች ባልቻ በሰባዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነበሩ። ከአርባ ዓመት በፊት በዓድዋ የተዋጉት ጠላት ተመልሶ ሲመጣ፣ ከዓለም የተለየው ሽማግሌ ከአርበኞች ጋር ተሰለፈ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር አርበኞች አዲስ አበባን ለማስለቀቅ ባደረጉት ሙከራ ከመሪዎቹ አንዱ ነበሩ። ሙከራው ሳይሳካ ቀረ፤ አቡነ ጴጥሮስም ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጥይት ተደብድበው ተገደሉ።

ደጃዝማች ባልቻ የወደቁት በተከታዩ በ1929 ዓ.ም. ነው። ስለ አሟሟታቸው ተዘውትሮ የሚነገረው ታሪክ፣ መሣሪያዬን አስረክባለሁ ብለው ወደ ኢጣሊያኖቹ መልክተኛ ላኩ፣ ሊቀበሏቸው የመጡት ሲቀርቡም ተኩስ ከፍተውባቸው እየተዋጉ ሞቱ የሚል ነው። ዝርዝሩ ከተራኪ ተራኪ ይለያያል። ሁሉም የሚስማሙበት፣ እጃቸውን ሳይሰጡ እንደ ወደቁ ነው። በነፋስ ስልክ ሌላው ሰው በእርሳቸው ላይ ያደረገውን፣ ማለት በሰላም ፊት የተሸፈነ ዝግጅትን፣ በመጨረሻ ቀናቸው እርሳቸው በጠላት ላይ አደረጉት። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። በ1920 ዓ.ም. የተጠነቀቁት ለሹመታቸውና ለሕይወታቸው ነበር፤ በ1929 ዓ.ም. ግን የሚጠብቁት ሹመት አልነበረም፣ ሕይወታቸውንም አስቀድመው ሰጥተው ነበር።

የዳግማዊ ቴዎድሮስ ሕይወት በመቅደላ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በሽጉጥ እንዳለፈ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። የዚያ ሽጉጥ ታሪክ ብዙ ተጽፎለታል። የደጃዝማች ባልቻ ዘመን ሽጉጦችና ካባዎች ግን በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ተለያይተው ቀርተዋል። መሣሪያው በአንድ ወገን፣ ልብሱ በሌላ ወገን ሲቀመጥ ሁለቱም ዲዳ ይሆናሉ። የካባው ወርድ ለምን እንደ ሰፋ፣ የመቀነቱ ጥምጥም ለምን እንደ በዛ፣ በውስጡ የተደረበው ጨርቅ በአንድ ወገን ለምን እንዳለቀ ሊያነብ የሚችል የእኛ ሙያ ያለው ሰው ነው። በእጃችን የሚገባ አሮጌ ልብስ ሲኖር ከማጠባችንና ከመጣፋችን በፊት ብንመረምረው፣ ከየት እንደ መጣና ከምን ጋር እንደ ተለበሰ ጽፈን ብንይዝ፣ ለታሪክ ታላቅ አገልግሎት እንሰጣለን።

በአዲስ አበባ በደጃዝማች ባልቻ ስም የተሰየመ ሆስፒታል አለ። ዘርና ወራሽ ያልነበራቸው ሰው ስማቸው በሽተኛ በሚታከምበት ቤት ላይ ተጽፎ ይኖራል። በነፋስ ስልክ በኩል ወደ አቃቂ የሚወርዱት አውቶቡሶችና የጭነት መኪናዎች ደግሞ፣ አንድ ታላቅ ሠራዊት በአንድ ከሰዓት በኋላ የተበተነበትን ሜዳ ሳያውቁት ያልፉታል።