ኮሊስ፦ ስሙን እንጂ ሕይወቱን ያላጠናነው ሐኪም

ኮሊስ ፍራክቸር ብለን ፈተና ላይ ያልጻፍን ከመካከላችን የለም። ስለ ሰውየው ማንነት ግን ማንም አልጠየቀንም። ለዘንድሮው የዓመት መጽሐፋችን እሱን የመረጥኩት ቄራ በምሠራበት ክሊኒክ ስሙን ቶሎ ቶሎ ስለማነሳው ነው። ክረምት ሲገባ ጭቃ አዳልጧቸው፣ እጃቸውን ዘርግተው የወደቁ እናቶች ይመጣሉ። ብዙዎቹ ታዲያ ወለምታ ነው ብለው ነው የሚመጡት።

አብርሃም ኮሊስ እ.ኤ.አ. በ1773 አየርላንድ ውስጥ ኪልኬኒ አጠገብ ተወለደ። ቤተሰቡ የእብነ በረድ ካባ ነበረው። ገና ልጅ ሳለ አባቱ ሲሞት እናቱ ሥራውንም ልጆቹንም ይዛ ቀጠለች። እንደሚባለው ከሆነ፣ ጎርፍ የአንድ ሐኪም ቤት አጥለቅልቆ የአናቶሚ መጽሐፉን ወሰደው፤ ልጁ ሜዳ ላይ አግኝቶ ሊመልስለት ቢሄድ ሐኪሙ እዚያው ሰጠው።

በ1795 ደብሊን ውስጥ የቀዶ ሕክምና ዲፕሎማውን፣ በ1797 ደግሞ ኤዲንብራ ላይ የሕክምና ዶክትሬቱን አገኘ። ለንደን ከዕውቁ አስትሊ ኩፐር ጋር ጥቂት ሠርቶ ወደ ደብሊን ተመለሰ። በ1802፣ ገና በ28 ዓመቱ፣ የአየርላንድ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ሆነ። ከ1804 እስከ 1836 ድረስም እዚያው አስተማረ።

ስሙን ያስቀረለት በ1814 ያወጣው አጭር ጽሑፍ ነው። በዚያ ዘመን ሰው ወድቆ የእጁ አንጓ ሲጣመም፣ ሐኪሞች ወይ ውልቃት ወይ ወለምታ ይሉት ነበር። ፈረንሳዊው ፑቶ ስብራት መሆኑን ቀደም ብሎ ቢጽፍም ብዙ ሰሚ አላገኘም። ኮሊስ፣ የተሰበረው ከአንጓው አራት ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ራዲየስ ነው አለ። ራጅ የተገኘው በ1895 ነው፤ እንዲህ የተሰበረ አጥንት ከፍቶ ለማየትም ዕድል አልገጠመውም። የነበረው ዓይኑና እጁ ብቻ። የታማሚውን እጅ ሲስበው ይቃናል፣ ሲለቀው ተመልሶ ይጣመማል። ውልቃት ቢሆን ኖሮ እኮ አንዴ ከገባ በቦታው ይቆይ ነበር። ስለዚህ ማቃናቱ ብቻውን አይበቃም፤ ከፊትና ከኋላ በስፕሊንት ተደግፎ መቆየት አለበት። ዛሬም ጀሶ የምናደርገው በዚሁ ምክንያት ነው።

ተጣሞ የቀረ እጅም ቢሆን ውሎ አድሮ ያለ ሕመም ይሠራል ብሎ ጽፏል። በዕድሜ ለገፉት ይህ ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ቀኑን ሙሉ ቢላ ይዞ ለሚውል የቄራ ሥጋ ቆራጭ ግን አንጓው ካልታጠፈና ካልጨበጠ እንጀራው ቀረ ማለት ነው።

ወለምታ የተባለው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚሄደው ወጌሻ ጋ ነው። ወጌሻን መናቅ አይገባም፤ ቀርከሃውም የስፕሊንት ዘመድ ነው። አደጋው ሲጠብቅ ነው። ጣት አብጦ፣ ደንዝዞ፣ ቀዝቅዞ እስራቱ ሳይፈታ ካደረ እጅ እስከ መቆረጥ ይደርሳል። የኛ ጀሶም ከጠበቀ ያው ነው። ስለዚህ ወጌሻም ጋ ይሁን እኛ ጋ ለታሰረ ሁሉ የምነግረው አንድ ነው፦ ጣትህን እያየህ አምሽ፣ ከደነዘዘ ሌሊትም ቢሆን ና።

ኮሊስ በ1839 የቀረበለትን የባሮኔት ማዕረግ አልፈልግም አለ። በ1843 ሲያርፍ የገደለው በሽታ በትክክል እንዲታወቅ ሬሳው ይመርመር ብሎ አስቀድሞ ተናዝዞ ነበር። የመረመረው ሮበርት ስሚዝ ነው፤ በ1847 የኮሊስን ተቃራኒ ስብራት የገለጸውና በፈተና ከኮሊስ ጋር ያምታታን የነበረው ያው ስሚዝ።

መምህራኖቻችን፣ ዛሬ ራጅ በየሰፈሩ አለ። ቢሆንም ተማሪዎቻችሁ ፊልሙን ከማንሳታቸው በፊት እጁን ይዩት፣ ይዳስሱት፣ ጣቱን ይንኩት። ለሁላችንም መልካም የመገናኛ በዓል ይሁንልን።